ሐረጎ ላይ ትንፋሽ የሚያጥረው ቮልስ፦ ችግሩ፣ መንስኤውና መፍትሄው

እ.ኤ.አ. በ1968 የተሠራችውን ቮልሴን ለስድስት ዓመት ግቢ ጥግ ሸራ አልብሼ ካቆየኋት በኋላ፣ በመካከሉ እነዳት የነበረችውን ትንሽ የጃፓን መኪና ሸጬ እንደገና የዕለት መመላለሻዬ ካደረግኋት ሁለት ዓመት አለፈ። ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ስለሆነ በመካከላቸው ያለውን ዳገት፣ ሐረጎን፣ ጠዋት እወርደዋለሁ፣ ማታ እወጣዋለሁ። የራሴን ሞተር ስፈታና ስገጥም ያዩ ባለ ቮልሶች ቅዳሜ ቅዳሜ የእነርሱንም ይዘው መምጣት ጀመሩ፤ ጋራዥ ባይኖረኝም አንድ ዓይነት ብልሽት ሲደጋገምብኝ በጽሑፍ ማስቀመጡ ይሻላል አልኩ። ቤንዚን መኖሩን፣ ባትሪው መሙላቱን፣ የባትሪው ጫፎች አለመዛጋቸውን፣ ዘይቱም በመለኪያው ሁለት ምልክቶች መካከል መሆኑን አይታችኋል ብዬ ነው የምጽፈው።

ጠዋት ደሴ ላይ አልነሳ ሲል

ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የካርቡሬተሩ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) የአየር መዝጊያ የሚዘጋው ቁልፍ ከመዞሩ በፊት የቤንዚን ፔዳሉ አንድ ጊዜ እስከ ወለሉ ተረግጦ ሲለቀቅ ነው። ከአዳዲስ መኪኖች ወደ ቮልስ የሚመለስ ሰው ይህን ስለሚረሳ ባትሪውን ጨርሶ ጎረቤት ለመግፋት ይጠራል። ተነስቶ ከሞቀ በኋላም ጥቁር ጭስ የሚያወጣ ከሆነ ወደ አየር መዝጊያው ማሞቂያ የሚሄደው የኤሌክትሪክ ሽቦ ተነቅሏል፤ ሽቦውን መልሶ መሰካት ነው።

ኮምቦልቻ ደህና የነበረው ደሴ ላይ ሲሰንፍ

ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 ሜትር ከፍ ብላ ስትገኝ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች። በደሴ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ስለሚያንስ ሞተሩ በዚያው ልክ ጉልበት ያጣል፤ ካርቡሬተሩ ግን የሚያፈስሰውን ቤንዚን በዚያው ልክ ስለማይቀንስ ካንዴላው (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው) ጥላሸት ይለብሳል። ይህ ብልሽት አይደለም። የመኪናው መኖሪያ ደሴ ከሆነ ሚኒሞውን (ሞተሩ ሳይረገጥ የሚዞርበትን ፍጥነት) ደሴ ላይ፣ ሞተሩ ሞቆ ሳለ አንድ ጊዜ አስተካክሎ መተው ነው። ሁለቱም ከተማ ላይ በደረሰ ቁጥር ካቻቢቴ ይዞ ካርቡሬተሩን የሚያሽከረክር ሰው በሳምንቱ መጨረሻ ትክክለኛው ቦታ የት እንደነበረ አያውቀውም።

ሐረጎ ላይ ደክሞ የሚጠፋና ሲቀዘቅዝ የሚነሳ

ከምመለከታቸው ቮልሶች አብዛኞቹ የሚመጡት በዚህ ነው። መኪናው ከኮምቦልቻ በደህና ይነሳል፤ ዳገቱን ከጀመረ ከሩብ ሰዓት በኋላ የተረገጠው ቤንዚን እንዳልደረሰው ሁሉ ጉልበቱ እየቀነሰ ይሄዳል፤ በሦስተኛ ይሄድ የነበረው ወደ ሁለተኛ፣ ከዚያም ወደ አንደኛ ማርሽ ይወርድና ከመጠምዘዣዎቹ በአንዱ ላይ ይቆማል። ሃያ ደቂቃ ሲያርፍ ምንም እንዳልነበረ ይነሳል።

ሰውን የሚያሳስተው ይህ መነሳቱ ነው። በማንኛውም ምክንያት በሙቀት የቆመ ቮልስ ካረፈ ይነሳልና፣ በዚያ ሃያ ደቂቃ ውስጥ የተደረገ ነገር ሁሉ መድኃኒት ይመስላል። አንዱ የቤንዚን ፓምፑ ላይ እርጥብ ጨርቅ ይጠመጥማል፣ ሌላው ቦቢናውን (የብልጭታውን ኤሌክትሪክ የሚያጠነክረውን) ይቀይራል፣ ሦስተኛው ካርቡሬተሩን በአፉ ይነፋል፤ ሦስቱም መኪናውን አስነስተው ይመሰገናሉ። ያዳነው ግን ጨርቁ ሳይሆን ዕረፍቱ ነው። አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር የቤንዚን ፓምፕ፣ ቦቢናና ካርቡሬተር በሦስት ጋራዥ በተራ አስቀይሮ፣ የተቀየሩትን ዕቃዎች በካርቶን ይዞ መጥቶብኛል። አሮጌው ፓምፕ ዛሬም ከእኔ ዘንድ አለ፤ ይሠራል።

ስለዚህ መኪናው እንደቆመ፣ ሳይቀዘቅዝ፣ ሦስት ነገር በቅደም ተከተል ይታያል። መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን አንስቶ በካርቡሬተሩ ጉሮሮ ውስጥ እያዩ የቤንዚኑን ማንሻ በእጅ መሳብ ነው። ቀጭን የቤንዚን ክር ከተረጨ ካርቡሬተሩ ውስጥ ነዳጅ አለና ፓምፑን አትውቀሱ። ቀጥሎ አንዱን ካንዴላ ነቅሎ ከኮፍያው ጋር እንደተገናኘ በሞተሩ ብረት ላይ አስደግፎ፣ ቤንዚን ከተረጨበት ጉሮሮ አርቆ፣ ሰው ሲያስነሳ ብልጭታውን መመልከት ነው። ሰማያዊ ከሆነ ደህና ነው፤ ቀይና ቀጭን ከሆነ ወይም ከነጭራሹ ከሌለ ኮንደንሰሩን (ከፑንቲናው ጋር የሚሠራውን ትንሽ የኤሌክትሪክ ዕቃ) ጠርጥሩ። በመጨረሻም የዘይት መለኪያውን ዘንግ ስቦ በጣት መያዝ ነው፤ ጥቂት ሰከንድ መያዝ ካልተቻለ ዘይቱ ከመጠን በላይ ግሏል። እኔ ካየኋቸው ብዙዎቹ ቤንዚን ይረጫሉ፣ ብልጭታቸው ሰማያዊ ነው፣ ዘንጋቸው ግን ጣት ያቃጥላል።

ስለ ኮንደንሰር አንድ ነገር ልበል። ዛሬ በርካሽ የሚሸጠው ኮንደንሰር ሲቀዘቅዝ ሠርቶ ሲግል የሚተኛ ነው፤ ከፕላስቲኩ ሳይወጣ የሞተ ሁሉ ገጥሞኛል። አሮጌው የሚሠራ ከሆነ ፑንቲናው (ኤሌክትሪኩን እየቆረጠ ብልጭታ የሚያስነሳው) ሲቀየር አብሮ አይጣል። የፑንቲናው ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሚታሸው ጫፉ እያለቀ ሲሄድ ክፍተቱ ይጠብባል፣ ክፍተቱ ሲጠብብ ብልጭታው ይዘገያል፣ ብልጭታው ሲዘገይ ሞተሩ ይግላል። በመሆኑም በሙቀት ለሚሠቃይ ሞተር ፑንቲናና ፋዝ (ብልጭታው የሚነሳበት ጊዜ) በመለኪያ ይስተካከላሉ፤ «በጆሮዬ አውቀዋለሁ» የሚል መካኒክ ሌላ መኪና ይፈልግ።

ወደ ዋናው መንስኤ ስንመጣ፣ ቮልስ ራዲያተር የለውም፤ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። ቬንትሌተሩ ከኋላው ኮፈን ቀዳዳዎች የገባውን ቀዝቃዛ አየር ስቦ፣ ሞተሩን በሸፈኑት ላሜራዎች ውስጥ አሳልፎ፣ በሲሊንደሮቹ ክንፎች መካከል ወደ ታች ይነፋዋል፤ የሞቀው አየር ከሞተሩ በታች ይወጣል። የላይኛውን ቀዝቃዛ አየር ከታችኛው ትኩስ አየር የሚለየው ላሜራውና በሞተሩ ክፍል ዙሪያ የሚታሰረው ጎማ ብቻ ነው። ያ ጎማ ሲበሰብስ ወይም አንድ ላሜራ ሲጎድል ቬንትሌተሩ አሁን ያወጣውን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል። በሜዳ ላይ መኪናው ትኩሱን አየር ጥሎት ስለሚሄድ ችግሩ አይታይም፤ በሐረጎ ዳገት በቀስታ ሲወጣ ግን ሞተሩ የራሱን እስትንፋስ መልሶ እንደሚተነፍስ ይሆናል።

ኮፈኑን ከፍታችሁ ከሞተሩ ዳርና ዳር መሬቱ ከታየ መንስኤው ተገኝቷል። ጎማው በሙሉ ዙሪያ ይቀየር። ከፍራሽ የተቆረጠ ስፖንጅ የሚጠቀጥቁ አሉ፤ ስፖንጁ በሙቀቱ ይፈረፈርና ፍርፋሪውን ቬንትሌተሩ ይውጠዋል። በካንዴላው ገመድ ላይ ያሉት ክብ ጎማዎችም የላሜራውን ቀዳዳ ለመድፈን የተሠሩ ናቸውና አራቱም መኖር አለባቸው። የማሞቂያው ቱቦዎች ተነቅለው ከሆነ በቬንትሌተሩ ቤት ላይ የቀሩት ሁለት አፎች በጥብቅ ይከደኑ፤ ክፍት ከተተዉ ለሲሊንደር የታሰበው አየር በእነርሱ ይወጣል። ሞተር ሲፈታ ጥቂት ላሜራና አሥር ብሎን «ትርፍ ነው» ብሎ የሚመልስ ጋራዥ ካለ፣ ያንን ላሜራ ተቀብሎ ሌላ ጋራዥ መሄድ ነው። ቮልስ ላይ ትርፍ ላሜራ የለም።

የእኔዋ ግን ጎማዋም ላሜራዋም ሙሉ ሆኖ ትቆም ነበር። ለሁለት ሳምንት ከካርቡሬተሩ ጋር ታገልኩ፣ የሰው ስህተት የምተርክ እኔም ፓምፕ ቀየርኩ። በመጨረሻ ሞተሩን አወረድኩት፤ ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ጋር የያዙት አራት ብሎኖች ብቻ ስለሆኑ ክሪክና አንድ ረዳት ካለ ከባድ አይደለም። ከመቶ ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ግን ማንም ከሥሩ እጁን አያስገባ። የቬንትሌተሩን ቤት ሳነሳ የዘይት ማቀዝቀዣው አይታይም ነበር፤ ጭድ፣ የተነደፈ ስፖንጅ፣ የጋቢ ክርና የተፈለቀቀ የሽንብራ ቅርፊት ተጠቅጥቆ፣ በላዩ የዘይት እድፍ ደርቆበት እንደ ኩበት ሆኗል። መኪናዋ ቆማ በነበረችበት ስድስት ዓመት አይጥ ወልዳ አሳድጋበታለች። ጎጆውን በካቻቢቴ ፈልፍዬ ሳወጣ አንድ ጆግ ሞላ። ሞተሯን በገጠምኩ ማግስት ሐረጎን በሦስተኛና በሁለተኛ ማርሽ ሳትቆም ወጣችው።

ስለዚህ ለዓመታት የቆመ ቮልስ ወደ መንገድ ከመመለሱ በፊት የቬንትሌተሩ ቤት ይነሳ፣ ውስጡ ይታይ። ይህ ምክር ሳይሆን ግዴታ ነው። የሚሄድ መኪናም ቢሆን ኮፈኑ ውስጥ ጨርቅ ወይም ፌስታል አይቀመጥበት፤ ቬንትሌተሩ የሳበው ፌስታል አፉ ላይ ተለጥፎ አየሩን ሲዘጋ አይቻለሁ።

አየሩ ሲቀንስ ከሁሉ በፊት የሚጎዳው ሦስተኛው ሲሊንደር፣ ማለትም በሾፌሩ በኩል ያለው የፊተኛው ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1970 በተሠሩት ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው የቆመው ወደዚያ ሲሊንደር በሚሄደው አየር መንገድ ላይ ስለሆነ፣ የሚደርሰው አየር አስቀድሞ የሞቀ ነው። ከ1971 ሞዴል ጀምሮ ማቀዝቀዣው ወደ ጎን ወጥቶ የራሱ የአየር መንገድ ተሠርቶለታል። አንድ ጊዜ በሙቀት የቆመ ሞተር ቫልቮቹ ሳይለኩ ወደ ዳገት አይመለስ። ክፍተታቸው በአብዛኞቹ ሞተሮች 0.15 ሚሊ ሜትር ሲሆን የሚለካውም ሞተሩ ሌሊቱን ሙሉ አድሮ ሲቀዘቅዝ ነው። የሦስተኛው የጭስ ቫልቭ ክፍተት ባስተካከላችሁት ቁጥር እየጠበበ ከመጣ ቫልቩ እየተሳበ ነው፤ ተቆርጦ ፒስቶኑን ከመብሳቱ በፊት ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ይውረድ።

የአነዳዱም ጉዳይ አለ። ቬንትሌተሩ የሚዞረው በሞተሩ ጉልበት ስለሆነ ሞተሩ ቀስ ሲል እርሱም ቀስ ይላል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በሦስተኛ ማርሽ እያንገራገረ ሐረጎን የሚወጣ ሰው ብዙ ሙቀት እያመነጨ ትንሽ አየር ያስገባል። ማርሽ ቶሎ ይቀነስ፣ ሞተሩ ይጩኽ፤ ጩኸቱ አየር ነው። በጋለ ሞተር ላይ ውሃ ማፍሰስ ብረቱን ስለሚሰነጥቅ ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

ቀዩ መብራት ሲበራ

በሌላ መኪና የባትሪ መብራት ሲበራ ቤት ድረስ መንዳት ይቻል ይሆናል። በቮልስ ግን ዲናሞውንና ቬንትሌተሩን የሚያዞረው አንድ ቺንጊያ (የጎማ ቀበቶ) ነው፤ ቺንጊያው ከተበጠሰ ሞተሩ የሚያቀዘቅዘው የለም። ስለዚህ ወዲያው ዳር ይዞ ማጥፋት ነው። አንድ ወዳጄ ሐረጎ መሐል መብራቱ ሲበራ «ባትሪው አዲስ ነው፣ ደሴ ያደርሰኛል» ብሎ ቀጠለ፤ ባትሪው ደሴ ደረሰ፣ ሞተሩ ግን መንገድ ላይ ነክሶ ቀረ። ሁለት ፒስቶንና ሲሊንደር ቀይሬለታለሁ።

የቺንጊያው መጠበቅ የሚስተካከለው በዲናሞው መዘውር ሁለት ክፍሎች መካከል ባሉ ስስ ሮንዴላዎች ነው። ከመካከል ሲቀነሱ ቺንጊያው ይጠብቃል፤ የተቀነሱትም ከዳዶው ሥር በውጭ በኩል ይቀመጣሉ እንጂ አይጣሉም። በአውራ ጣት ሲጫኑት አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል መርገብ አለበት። ተለዋጭ ቺንጊያና የ21 ቁልፍ ሳይዝ ሐረጎን የሚወጣ ባለ ቮልስ ዕድሉን ይዞ ነው የሚወጣው።

እሳት

ቮልስን ሁለት ነገር ያቃጥለዋል። አንደኛው የቤንዚን ቱቦ ነው፤ በጨርቅ የተሸፈነው ጎማ ሲደርቅ ሳይታይ ይሰነጠቃል፣ ወደ ካርቡሬተሩ የሚገባው የነሐስ አፍም ላልቶ ሊወጣ ይችላል፣ ያኔ ቤንዚኑ ዲስትሪቢዩተሩ ላይ ይፈስሳል። ቱቦው በየዓመቱ ይቀየር፣ ጫፎቹ በማሰሪያ ይጥበቁ፣ የነሐሱ አፍም በእጅ እየተወዘወዘ ይሞከር። ሁለተኛው ከኋላ ወንበር ሥር ያለው ባትሪ ነው። መክደኛው ከጠፋ ሦስት ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ሞላ (ስፕሪንግ) ጫፎቹን ነክቶ ይያያዛል። መክደኛ የሌለው መኪና ከኋላ ሰው አይጫንበት።

ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲለሰልስ

ከደሴ ሲወረድ ፔዳሉን ረግጦ የሚያቆይ ሰው ሸራዎቹን አግሎ ከታች ፍሬን ያጣል። በወጣበት ማርሽ ይውረድ። ሸራዎቹ ሳይግሉም ፔዳሉ ቀስ እያለ ወደ ወለሉ የሚሰምጥ ከሆነ የዋናው ፍሬን ፓምፕ ጎማ አልቋል፤ ለዓመታት በቆመ መኪና ላይ ሳይጠየቅ የሚቀየር ነው።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

ዘይት ከሞተሩ ሥር የሚያንጠባጥብ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የቫልቭ ዘንጎች የሚያልፉባቸው ቱቦዎች ጫፍ ጎማ ነው። ፍሪሲዮኑ ተረግጦ ማርሹ እየጮኸ ከገባ ገመዱ ስለላላ ከካምቢዮው በኩል በቢራቢሮ ዳዶው ይሳብ። ሞተሩ ሲረገጥ ደህና ሆኖ በሚኒሞ አልረጋ የሚል ከሆነ በካርቡሬተሩ ሥር ያለው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) አየር እያስገባ ሊሆን ይችላል።