የሥራ ስልክ ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሔው

በብዙ መሥሪያ ቤቶች ደብዳቤው የሚጻፈው በኮምፒውተር ቢሆንም ሥራው የሚሄደው በስልክ ነው። የግዢ ጥያቄው በቴሌግራም ይላካል፣ የባንክ ማረጋገጫው በአጭር መልእክት ይመጣል፣ ኃላፊውም «እሺ፣ ቀጥሉ» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ሆኖ ነው። ስልኩ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሠራተኛው የግል ንብረት ነው። እንዲህ ያለው ስልክ ማስቸገር ሲጀምር ሠራተኛው ሥራው እንዳይቆምበት ሲል አቋራጭ ይፈልጋል፤ ሰነዱን በግል አካውንቱ ይልካል፣ የይለፍ ቃሉን ለባልደረባው ይነግራል፣ የመጣውን ማስጠንቀቂያ ሳያነብ «ቀጥል» ብሎ ያልፈዋል። በእኔ ግምት ከረቀቀ የሀከር ጥቃት ይልቅ ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው ይህ አቋራጭ ነው። በዚህም ምክንያት ከታች ከቀረቡት ችግሮች አንዳንዶቹ በመጀመሪያ እይታ የደኅንነት ጉዳይ አይመስሉም። መመሪያው በአንድሮይድ ስልኮች ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ የማስተካከያዎቹ ስምና ቦታ በሳምሰንግ፣ በቴክኖና በኢንፊኒክስ ላይ በመጠኑ ሊለያይ ይችላል።

ምልክት፦ ድረ ገጾች «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» ይላሉ፣ የማረጋገጫ ኮድም አይሠራም

የመሥሪያ ቤቱን ኢሜይል በብራውዘር ለመክፈት ሲሞከር ማስጠንቀቂያ ይወጣል። ዋትስአፕ የስልኩ ቀን ትክክል አይደለም ብሎ አልከፈት ይላል። የመግቢያ ኮድ ከሚያወጣው ከጎግል ኦተንቲኬተር መተግበሪያ የተወሰደው ባለስድስት አሃዝ ኮድ ምንም ሳይሳሳት ቢገባም «የተሳሳተ ኮድ» የሚል መልስ ይመጣል። በዚያው ዋይፋይ የሚጠቀመው የአጠገብ ባልደረባ ግን ምንም አልገጠመውም።

እነዚህ ሦስቱ አብረው ከታዩ ከሁሉ በፊት የስልኩን ቀንና ሰዓት ማየት ያስፈልጋል። ይህ ችግር በአገራችን የራሱ የሆነ መነሻ አለው። ስልካቸው የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር እንዲያሳያቸው የሚፈልጉ ሰዎች ዓመተ ምሕረቱን በእጃቸው ያስገባሉ፤ ሌሎች ደግሞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን ስልኩም ሦስት ሰዓት እንዲል ብለው ሰዓቱን ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሱታል። ለባለቤቱ ይህ ማንንም የማይጎዳ ማስተካከያ ይመስላል። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ደኅንነቱ የተጠበቀ ድረ ገጽ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን የተጻፈበት ዲጂታል የምስክር ወረቀት አለው፤ ስልኩ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ከቀረ፣ ዛሬ የሚሠራው የምስክር ወረቀት ለእሱ ገና ወደፊት የሚሰጥ ነው፤ ስለዚህ አይቀበለውም። የኦተንቲኬተር ኮድም የሚሰላው ከምሥጢራዊ ቁልፍና ከሰዓት ሲሆን በየ30 ሴኮንዱ ይለወጣል፤ ኮዱን የሚያረጋግጠው አገልጋይ (የድርጅቱ ኮምፒውተር) አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ደቂቃ ገደማ ያለፈ ልዩነት አይታገሥም፤ ስድስት ሰዓትማ ከቶ የማይታሰብ ነው።

አደጋው የሚመጣው ቀጥሎ ነው። ማስጠንቀቂያው በየቀኑ ሲወጣ ሠራተኛው «ምንም አይደለም፣ ሁልጊዜ እንዲህ ይላል» እያለ ማለፍ ይለምዳል፤ አንድ ቀን በካፌ ዋይፋይ ላይ እውነተኛ ማጭበርበር ሲያጋጥመው ያው ማስጠንቀቂያ ይወጣል፣ እሱም እንደ ልማዱ ያልፈዋል። ኮዱ አልሠራም ያለው ደግሞ የኮምፒውተር ክፍሉን «ይህን ነገር አጥፉልኝ» ብሎ ይለምናል፤ ከይለፍ ቃሉ በተጨማሪ ኮድ የሚጠይቀው የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ በእንዲህ ያለ ጥያቄ የጠፋባቸው አካውንቶች ጥቂት አይደሉም።

መፍትሔው አጭር ነው። ሴቲንግ ውስጥ ቀንና ሰዓት የሚለውን ይክፈቱ፣ ቀኑም ሰዓቱም በራሱ እንዲስተካከል የሚያደርገውን ያብሩ፣ የሰዓት ክልሉ አዲስ አበባ ወይም ናይሮቢ መሆኑን ያረጋግጡ። የኢትዮጵያን ቀን ለማየት ከፕሌይ ስቶር የሚገኝ የቀን መቁጠሪያ መተግበሪያ በቂ ነው። በኢትዮጵያ ሰዓት ካልሆነ አይሆንልኝም ለሚል ሰው አንድ ብልሃት አለ፦ ሰዓቱን ሳይነኩ የሰዓት ክልሉን ብቻ ወደ ቦነስ አይረስ መቀየር። አርጀንቲና ከእኛ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች ስልኩ የእኛን አቆጣጠር ያሳያል፣ ቀኑም ንጋት ላይ ይለወጣል፤ ትክክለኛው የዓለም ሰዓት ስለማይነካ ኮዱም ድረ ገጹም ይሠራሉ። ለቢሮ ስልክ አልመክረውም፣ ከውጭ ሰዎች ጋር የስብሰባ ቀጠሮ የሚይዝ ሰው ግራ ይጋባበታልና፤ ሰዓቱን በእጅ ከመመለስ ግን በእጅጉ ይሻላል።

ምልክት፦ የሥራ ኢሜይል የሚገባው መተግበሪያው ሲከፈት ብቻ ነው

ኃላፊው ጠዋት የላከው ኢሜይል ከሰዓት በኋላ፣ ያውም መተግበሪያው ሲከፈት ይታያል። በተለይ በቴክኖና በኢንፊኒክስ ስልኮች ላይ የባትሪ ቆጣቢው ከጀርባ የሚሠሩትን መተግበሪያዎች ስለሚያቋርጥ የተለመደ ነው። ሌላው መንስኤ የማከማቻ ቦታ መሙላት ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ የሚሞላውም ቴሌግራም በራሱ ጊዜ በሚያወርዳቸው ቪዲዮዎች ነው።

ይህ ሲደጋገም ቢሮው በሙሉ ወደ ግል ቴሌግራም ይዞራል፤ የደመወዝ ዝርዝርና የደንበኞች መታወቂያ ኮፒ በአንድ የጋራ ግሩፕ ውስጥ ይከማቻል፣ ሥራ የለቀቀ ሰውም ከግሩፑ ሳይወጣ ይቆያል። ስለዚህ ለኢሜይል መተግበሪያው ብቻ የባትሪ ገደቡን ያንሱለት፤ በቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ዳታና ማከማቻ የሚለውን ከፍተው ካሹን (ስልኩ ላይ ለጊዜው የተከማቸውን ፋይል) ያጽዱ፣ በራሱ ማውረዱንም ያጥፉ። ካሹን ማጽዳት ንግግሮችን አይሰርዝም፤ የወረደውም ፋይል ከቴሌግራም አገልጋይ ላይ ስላለ እንደገና ሊወርድ ይችላል። ቦታ ሲገኝ ከዚያ በፊት በቦታ እጥረት ሳይጫን የቆየው የደኅንነት ማዘመኛ ይጫናል፤ ይህ ደግሞ ከኢሜይሉ ያላነሰ ጥቅም ነው።

ምልክት፦ በስሜ ያልላክሁት መልእክት ተልኳል

ለአንድ የሒሳብ ሠራተኛ ከሚያውቀው ሰው «ልጄ በሥዕል ውድድር ላይ ነው፣ እባክህ አንድ ድምፅ ስጥልኝ» የሚል መልእክት ከሊንክ ጋር ይደርሰዋል። ሊንኩን ሲነካ ቴሌግራምን የሚመስል ገጽ ይከፈታል፤ ስልክ ቁጥር ይጠይቃል፣ ቀጥሎም «አሁን የደረሰዎትን ኮድ ያስገቡ» ይላል። ኮዱ በእርግጥም ይደርሳል፣ የላከውም እውነተኛው ቴሌግራም ነው፤ መልእክቱ ውስጥም ኮዱን ለማንም እንዳይሰጥ ተጽፎበታል። ሠራተኛው ቁጥሩን ብቻ አይቶ ያስገባዋል። ጥቂት ቆይቶ በስሙ ለባልደረቦቹ «ቸግሮኛል፣ በቴሌብር ትንሽ ገንዘብ ላክልኝ፣ ማታ እመልሳለሁ» የሚል መልእክት ይሄዳል።

መንስኤው ሁልጊዜ ማጭበርበር ላይሆንም ይችላል። የኅትመት ቤት ኮምፒውተር ላይ ፋይል ለማተም ተብሎ የተከፈተ ቴሌግራም ዌብ ሳይዘጋ ሲቀር ባለቤቱ ምንም ሳያውቅ የቀጣዩ ደንበኛ መጫወቻ ይሆናል። ይህኛው ኮድም ሊንክም አይፈልግም፤ ከሁሉም በላይ የሚዘነጋውም እሱ ነው።

በሁለቱም ሁኔታ መጀመሪያ የሚደረገው አንድ ነው። ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ «ዲቫይስ» የሚለውን ይክፈቱ፤ የገቡት መሣሪያዎች በሙሉ ከነከተማቸው ተዘርዝረዋል። ከያዙት ስልክ በቀር ሌሎቹን በሙሉ የሚያስወጣውን ትእዛዝ ይስጡ። ይህን በፍጥነት ማድረግ ጥቅሙ ከፍተኛ ነው፤ ምክንያቱም አዲስ የገባ መሣሪያ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ ቀድሞ የነበሩትን ማስወጣት ስለማይችል፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ የበላይነቱ የእርስዎ ነው። ከዚያ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የይለፍ ቃል ያስገቡ፤ የመልሶ ማግኛ ኢሜይሉንም አይዝለሉት። የማይጠቀሙበት መሣሪያ ከአንድ ሳምንት በኋላ በራሱ እንዲወጣ ማድረግም ይቻላል። በዋትስአፕ በኩል ደግሞ የተገናኙ መሣሪያዎችን ዝርዝር ማየትና ባለስድስት አሃዙን ፒን ማብራት ተመሳሳይ ጥበቃ ይሰጣል።

ኮዱን ለማንም ሳይሰጡ አካውንቱ የተያዘባቸው ሰዎች የጥሪ ማስተላለፊያውን ይፈትሹ። አጭበርባሪው በስልክ ደውሎ «ኔትወርክዎን ለማስተካከል ይህን ይደውሉ» ብሎ በ*21* የሚጀምር ቁጥር ካስደወለ፣ ጥሪዎችዎ ወደ እሱ ይዞራሉ፤ በድምፅ ጥሪ የሚነገር የማረጋገጫ ኮድም አብሮ ይሄዳል። *#21# ሲደውሉ ማስተላለፊያው መኖር አለመኖሩ ይታያል፤ ##002# ደግሞ ሁሉንም ማስተላለፊያ ያጠፋል።

እዚህ ላይ የመሥሪያ ቤቱም ድርሻ አለ። የክፍያ ትእዛዝ በጽሑፍ መልእክት ብቻ የሚፈጸምበት ቢሮ የአንድ ሰው አካውንት ሲያዝ ገንዘብ ይወጣበታል። ከተወሰነ መጠን በላይ የሆነ ክፍያ ሁሉ ቀድሞ በተመዘገበ ቁጥር ተደውሎ በድምፅ ይረጋገጥ። ቴሌግራምን በተመለከተ ብዙዎች የማያውቁት ነገር ቢኖር ተራው ንግግር ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሠጠረ (ከላኪውና ከተቀባዩ በቀር ማንም የማያነበው) አለመሆኑ ነው፤ ያ ጥበቃ ያለው በምሥጢራዊው ንግግር ላይ ብቻ ሲሆን እሱም በግሩፕ ውስጥ አይሠራም። ዋትስአፕ ግን ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሁሉንም ንግግር በዚህ መንገድ ያመሠጥራል።

ምልክት፦ «ከሌላ አገር ወደ አካውንትዎ ለመግባት ተሞክሯል»

ሠራተኛው አዲስ አበባ ተቀምጦ ሳለ ከሆላንድ ወይም ከሲንጋፖር ወደ ኢሜይሉ እንደተገባ ይነገረዋል። ከመደንገጥ በፊት ቪፒኤን (ኢንተርኔቱን በሌላ አገር ባለ አገልጋይ በኩል የሚያሳልፍ መተግበሪያ) መብራቱን ማየት ነው። ከ2015 ዓ.ም. የካቲት ጀምሮ ማኅበራዊ ሚዲያዎች ለወራት በተገደቡበት ጊዜ ብዙ ሰው ነፃ ቪፒኤን ጭኗል፤ ገደቡ ሲነሳ ግን ሁሉም አላጠፋውም። ነፃው ቪፒኤን የኢንተርኔት ትራፊክዎን በሙሉ በማያውቁት ድርጅት በኩል ያሳልፋል፣ አንዳንድ የባንክ መተግበሪያዎችም ሲያዩት አይከፈቱም። ያራግፉት። መሥሪያ ቤቱ የራሱ ቪፒኤን ካለው እሱን ብቻ ይጠቀሙ። ቪፒኤን ሳይኖር ማስጠንቀቂያው ከመጣ ግን የይለፍ ቃሉን በሌላ መሣሪያ ላይ ሆነው ይቀይሩ፣ ለኮምፒውተር ክፍሉም ያሳውቁ።

ምልክት፦ ስልኩ ሥራ ሳይዝ ይሞቃል፣ ዳታ ያልቃል፣ ማስታወቂያ በራሱ ይከፈታል

ባትሪው አርጅቶ ሊሆን ይችላል። ይሁንና ምልክቱ የጀመረው በቴሌግራም የተላከ የኤፒኬ ፋይል (ከፕሌይ ስቶር ውጪ የሚጫን መተግበሪያ) ከተጫነ በኋላ ከሆነ፣ ጥርጣሬው መጀመሪያ ወደዚያ መሄድ አለበት። «ያልተከፈለበት ፕሪሚየም» እየተባለ የሚዞረው መተግበሪያ ለዓይነ ስውራንና ለአካል ጉዳተኞች የተዘጋጀውን የአክሰሲቢሊቲ ፈቃድ ከጠየቀ፣ ስክሪን ላይ የሚታየውን ሁሉ ለማንበብና በእርስዎ ፈንታ ለመንካት ይችላል፤ የሞባይል ባንክ ፒን ጭምር።

ኢንተርኔቱን ያጥፉ። የማጥፊያውን ቁልፍ ተጭነው «አጥፋ» የሚለውን ረዘም አድርገው ሲይዙት አብዛኞቹ ስልኮች በሴፍ ሞድ ለመነሳት ይጠይቃሉ፤ በዚህ ሁኔታ እርስዎ የጫኗቸው መተግበሪያዎች ስለማይሠሩ አልራገፍ ያለውም ይራገፋል። ቀጥሎ በአክሰሲቢሊቲ ውስጥ የማያውቁት አገልግሎት በርቶ እንደሆነ ይዩ፣ ከማይታወቅ ምንጭ የመጫን ፈቃድንም ከቴሌግራም ላይ ያንሱ። የባንክና የኢሜይል የይለፍ ቃሎች የሚቀየሩት በሌላ ንጹሕ ስልክ ነው። ምልክቱ ካልጠፋ ምትኬ ይዞ ፎርማት ማድረግ ይሻላል።

ምልክት፦ ስልኩ ተሰረቀ

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው አዲስ ሲም ለማውጣት ነው። ሌባው ግን በዚያ ሰዓት ሲሙን አውጥቶ በሌላ ስልክ ላይ ሊያስገባና በአጭር መልእክት የሚመጡትን ኮዶች ሊቀበል ይችላል። ስለዚህ በተገኘው ስልክ ለኢትዮ ቴሌኮም በ994፣ ለሳፋሪኮም በ700 ደውለው መስመሩን ያዘጉ፤ ባንክዎንም ያሳውቁ። ቀጥሎ በኮምፒውተር ወደ ጎግል አካውንትዎ ገብተው ስልኩን ከርቀት ይቆልፉ። ውስጡ ያለውን መረጃ ከርቀት መሰረዝን ለመጨረሻ ያቆዩት፤ ከተሰረዘ በኋላ ስልኩ ያለበትን ቦታ ማየት አይቻልምና። የቴሌግራምና የኢሜይል ግንኙነቶችን ያቋርጡ፣ በዚያው ቀንም ለመሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ ያሳውቁ። ስልኩ ውስጥ የደንበኞች መረጃ ካለ ጉዳዩ የእርስዎ ብቻ አይደለም፤ ስለ ግል መረጃ ጥበቃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃውን በያዘው ድርጅት ላይ ኃላፊነት ይጥላል።

ይህ ከመድረሱ በፊት ሁለት ነገሮችን ማድረግ ይጠቅማል። አንደኛው የሲም ፒን ማብራት ነው፤ ሲሙ በሌላ ስልክ ሲገባ ፒን ይጠይቃል፣ ሦስት ጊዜ ከተሳሳተ ፒዩኬ የተባለው የሲሙ መክፈቻ ቁጥር ካልገባ አይከፈትም። ሁለተኛው *#06# ደውሎ የሚመጣውን የአይኤምኢአይ (የስልኩን መለያ) ቁጥር ለፖሊስ እንዲሆን ወረቀት ላይ መጻፍ ነው። ስልኩ ተቆልፎ ሳለ የመልእክት ይዘት እንዳይታይም ያድርጉ፤ ኮዱ ስክሪኑ ላይ የሚነበብ ከሆነ መቆለፉ ብዙም አይረዳም።

ለጥገና ሲሰጥም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ስክሪን ለመቀየር የይለፍ ቃል ሊያስፈልግ የሚችለው ለሙከራ ብቻ ነው፤ እዚያው ቆመው ራስዎ ይክፈቱ። በቅርብ ዓመታት የወጡ ብዙ የሳምሰንግ ስልኮች የባለቤቱን ፎቶና መልእክት ሸፍኖ ለጠጋኙ ባዶ ስልክ የሚያሳይ የጥገና ሁነታ አላቸው።

ምልክት፦ ሠራተኛው የመሥሪያ ቤቱን መተግበሪያ በግል ስልኩ ላይ አልጭንም ይላል

ፍርሃቱ ተገቢ ነው፤ ፎቶዬን ያዩብኛል፣ ስልኬን ያጠፉብኛል የሚል ነው። ብዙውን ጊዜ መንስኤው አሠሪው ምን እንደሚያይ ሳያስረዳ «ጫኑ» ማለቱ ነው። ከአንድሮይድ 5 ጀምሮ ያለው የሥራ ፕሮፋይል የሥራውን ክፍል ከግሉ ለይቶ ያስቀምጣል፤ የሥራ መተግበሪያዎቹ ትንሽ የቦርሳ ምልክት ይኖራቸዋል፣ ከሥራ ሰዓት ውጪም ሊጠፉ ይችላሉ። በግል ስልክ ላይ በዚህ መንገድ ሲጫን የኮምፒውተር ክፍሉ የሠራተኛውን የግል ፎቶና ንግግር አያይም፤ ሠራተኛው ሲለቅም ከርቀት የሚሰርዘው የሥራ ፕሮፋይሉን ብቻ ነው። ይህን በአንድ ገጽ ጽፎ፣ የሚታየውንና የማይታየውን ለይቶ፣ ከመጫኑ በፊት ሠራተኛውን ማስፈረም ክርክሩን ይቀንሳል።