ቤታችሁ ውስጥ የባይፖላር መድኃኒት የጀመረ ሰው ካለ እንዲህ አድርጉ

ታናሽ ወንድሜ ባይፖላር (ስሜት አንዴ ከልክ በላይ የሚወጣበት፣ እሱ ማኒያ ይባላል፣ አንዴ ደግሞ ወርዶ ድብርት የሚሆንበት የአእምሮ ሕመም) አለበት ከተባለ ብዙ ዓመት ሆኖታል፣ ኪኒኑን የምቆጥረው ቀጠሮ የማስታውሰው ላብራቶሪ የማመላልሰው እኔ ነኝ። ዶክተር አይደለሁም፣ ስለዚህ ይሄን አንብባችሁ ዶዝ እንዳትቀይሩ፣ እቤት ምን ማየት እንዳለባችሁና ለሐኪሙ ምን ብላችሁ እንደምትጠይቁ ለማወቅ ግን ይጠቅማችኋል።

መጀመሪያ ደብተር ግዙ። የምሬን ነው! እኔ ያቺን ርካሿን ባለ 50 ገጽ ነው የያዝኩት፣ በቀን አንድ መስመር ብቻ፣ ለስንት ሰዓት ተኛ፣ መድኃኒቱን ዋጠ ወይ፣ ሌላ ምን ኪኒን ወሰደ፣ በቃ። አንድ ጊዜ የእንቅልፉ ቁጥር 7፣ 7፣ 5፣ 4፣ 3 እያለ ሲወርድ አየሁ፣ እሱ ደግሞ "እንደ አሁኑ ደህና ሆኜ አላውቅም" እያለ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ሳሎኑን ቀለም ይቀባል። ሰው ሦስት ሰዓት ተኝቶ ጭራሽ ድካም ካልተሰማው ጎበዝ ሆኖ እንዳይመስላችሁ፣ ማኒያው እየመጣ ነው። ቀጠሮው ገና ሦስት ሳምንት ቢቀረውም ደብተሩን ይዤ ወሰድኩት፣ መድኃኒቱ ተስተካከለለት፣ ሆስፒታል መተኛት ሳያስፈልገው ነገሩ በረደ።

ወደ መድኃኒቶቹ ስንመጣ፣ ባብዛኛው ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው ስሜት እንዳይወጣ እንዳይወርድ የሚይዙት ሊቲየም፣ ቫልፕሮኤት፣ ካርባማዜፒን፣ ላሞትሪጂን ናቸው። ሁለተኛው አንቲሳይኮቲክ የሚባሉት፣ ሃሎፔሪዶል፣ ላርጋክቲል (ክሎርፕሮማዚን)፣ ሪስፔሪዶን፣ ኦላንዛፒን፣ ኩዊታፒን። ከፋርማሲ ወጥታችሁ ወረቀቱን ስታነቡ "የሚጥል በሽታ መድኃኒት" የሚል ብታዩ አትደንግጡ፣ ከመጀመሪያው ወገን ሊቲየም ሲቀር ሦስቱ ለሁለቱም በሽታ ነው የሚሰጡት፣ እናታችን ግን ይሄን አንብባ "ልጄ እሱም አለበት እንዴ" ብላ ስታለቅስ ነው ያደረችው።

ሊቲየም ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ጥቅሙም ጣጣውም ከሁሉ የበዛው እሱ ነው። ጆን ኬድ የሚባል አውስትራሊያዊ ሐኪም በ1949 እ.ኤ.አ ለማኒያ እንደሚሠራ ጻፈ፣ እስከዛሬም የሚስተካከለው ጥቂት ነው፣ ራስን የማጥፋት አደጋን እንደሚቀንስም ይታወቃል። ችግሩ የሚያድነው መጠንና የሚመርዘው መጠን ጎን ለጎን መሆናቸው ነው። ደም ውስጥ ያለው ልክ ብዙውን ጊዜ ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊሞል በሊትር፣ አንዳንዴ እስከ 1.0 ይፈለጋል፣ 1.5ን ካለፈ ግን መርዝ መሆን ይጀምራል። ለዛ ነው ደም የሚመረመረው፣ መጀመሪያ ላይና ዶዝ ሲቀየር ከሳምንት በኋላ፣ ልኩ ሲረጋ ደግሞ በየ3 ወሩ፣ ቆይቶ በየ6 ወሩ፣ ከዛ ጋር ኩላሊትና ታይሮይድም ይታያል።

ደሙ የሚቀዳው የመጨረሻው ኪኒን ከተዋጠ 12 ሰዓት ሲሞላው ነው። በኛ ሰዓት ይሄ በጣም ቀላል ነው፣ ማታ 3 ሰዓት ከዋጠ ጠዋት 3 ሰዓት ይቀዳል፣ የጠዋቱ ኪኒን ካለ ከተቀዳ በኋላ ይዋጣል። ጠዋት ውጦ ከሄደ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ይመጣና ሐኪሙ ሳያስፈልግ ዶዙን ይቀንሰዋል። ሌላ ማንም የማይነግራችሁ ነገር ደግሞ አለ፣ አንዳንዱ አረንጓዴ ክዳን ያለው የደም ቱቦ ውስጡ ሊቲየም ሄፓሪን የሚባል ነገር አለው፣ በሱ ከተቀዳ ውጤቱ ራሱ ቱቦው ውስጥ ካለው ሊቲየም ጋር ተደምሮ ይመጣል። እኛ አንዴ 2 ነጥብ ምናምን የሚል ውጤት ደርሶን ወንድሜ ሳቁን እየሳቀ ቁርሱን እየበላ እኔ በድንጋጤ ልሞት ነበር፣ በሌላ ቱቦ ሲደገም 0.7። ስለዚህ ለሊቲየም መሆኑን ለሚቀዳው ሰው ንገሩት፣ አይቀየማችሁም።

ቀጥሎ ውሃና ጨው። ኩላሊታችን ሊቲየምንና ጨውን በደንብ አይለያቸውም፣ ሰውነት ውሃና ጨው ሲያጥረው ኩላሊት ጨው ልያዝ ብሎ ሊቲየሙንም አብሮ ይይዘዋል፣ ያኔ ሳይታሰብ መጠኑ ይወጣል። ተቅማጥ፣ ትውከት፣ ትኩሳት፣ ቆላ ወርዶ ላብ በላብ መሆን፣ ጨው በድንገት ማቆም፣ ሁሉም አንድ ናቸው። ጾምም እዚህ ይገባል፣ እስከ 9 ሰዓት ያለ ውሃ የሚቆይ ወይም ረመዳን የሚይዝ ሰው ሊቲየም ላይ ከሆነ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር፣ ለንስሐ አባቱም ይንገር፣ በሁለቱም ሃይማኖት ለታመመ ሰው ፈቃድ አለ። የኛ አባት "ውሃህን ጠጣ ልጄ" ብለው ነው በአንድ ቃል የጨረሱት።

ራስ ምታትና ወገብ ሲያመው ደግሞ ከሱቅም ከፋርማሲም ዳይክሎፌናክ ወይ አይቡፕሮፌን ገዝቶ እንዳይውጥ፣ ሊቲየሙን ከፍ ያደርጉታል፣ ፓራሲታሞል ይበቃዋል። የደም ግፊት መድኃኒቶቹ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድም እንደዛው ናቸው፣ ግፊት አለበት ተብሎ ሌላ ክሊኒክ ከሄደ ሊቲየም እንደሚወስድ ካልተናገረ ማንም አያውቅለትም። ጣት ትንሽ መንቀጥቀጥ፣ ውሃ ውሃ ማለትና ቶሎ ቶሎ መሽናት የተለመደ ነው፣ ለቀጠሮ ይቆያል። ግን እጁ በደንብ ከተንቀጠቀጠ፣ ሲራመድ እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ፣ ምላሱ ከተሳሰረ፣ ካስመለሰው ወይ ካስቀመጠው፣ ቀጣዩን ኪኒን አትስጡት፣ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት፣ ቀጠሮ አትጠብቁ።

ቫልፕሮኤት፣ ዴፓኪን የሚባለው፣ ለማኒያ ፈጣን ነው፣ ለሴት ልጅ ግን ሌላ ወሬ ነው። በእርግዝና ጊዜ ከወሰደችው ከ100 ሕፃናት ወደ 10ሩ የአፈጣጠር ጉድለት ይዘው ይወለዳሉ፣ ከ30 እስከ 40 የሚሆኑት ደግሞ በአእምሮ ዕድገትና በትምህርት ይቸገራሉ። ፎሊክ አሲድ መዋጥ ይሄን አያጠፋውም። ስለዚህ ልትወልድ የምትችል እህት ካለቻችሁና ይሄ ከታዘዘላት "ሌላ አማራጭ የለም ወይ" ብላችሁ ጠይቁ፣ ማፈር የለም። ጀምራ ከሆነ ደግሞ በራሷ እንዳታቆም፣ አርግዛም ብትሆን በዛው ቀን ሐኪሟ ጋ ትሂድ።

ካርባማዜፒን፣ ቴግሬቶል፣ እዚህ አገር በብዛት የሚታዘዝ ነው፣ ጉበትን ሥራ ያበዛበትና ሌላውን መድኃኒት ቶሎ ያስወጣዋል፣ የወሊድ መከላከያ ኪኒን ይከሽፋል፣ የኤችአይቪው ዶሉቴግራቪርም አቅሙ ይቀንሳል። ላሞትሪጂን ለድብርቱ ወገን ጥሩ ነው፣ ለማኒያ ግን ብዙም አይደለም፣ ሲጀመር በ25 ሚሊግራም ሁለት ሳምንት ከዛ 50 እያለ በቀስታ ነው የሚወጣው፣ ከቫልፕሮኤት ጋር ከሆነ ከዚህም ያነሰ። ቸኩሎ ማብዛት ቆዳን የሚልጥ አደገኛ ሽፍታ ያመጣል፣ ሽፍታ ካያችሁ፣ በተለይ ትኩሳት ካለው ወይ አፍና ዓይን ከቆሰለ፣ ያው ድንገተኛ ክፍል ነው። ከአምስት ቀን በላይ ከተቋረጠ ደግሞ በነበረበት ዶዝ አይቀጠልም፣ ሐኪም ጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ ከታች ነው የሚጀመረው።

አንቲሳይኮቲኮቹ በቀናት ውስጥ ያረጋጋሉ፣ ለዛ ነው ሰው ተነስቶበት ሲወሰድ መጀመሪያ እነሱ የሚሰጡት። ሃሎፔሪዶል ላይ አንገቱ ወደ አንድ ጎን ከተጣመመ ወይ ዓይኑ ወደ ላይ ከቀረ ቤተሰብ "ይኸው መንፈሱ ተነሳ" ይላል፣ መድኃኒቱ ነው እኮ! አርቴን የሚባለው ኪኒን ወይ መርፌ ሲሰጠው ይለቀዋል። ቁጭ ብድግ ካበዛ እግሩ አልቀመጥ ካለም እሱው ነው፣ በሽታው ብሶበት ነው ብላችሁ ዶዝ አታስጨምሩ። ኦላንዛፒን ላይ ምግብ ይከፈታል፣ ወንድሜ በጥቂት ወራት ሱሪው ሁሉ ጠቦት ነበር፣ ኪሎና ስኳር ማስለካት አትርሱ። በሪስፔሪዶን ወር አበባ ሊቀር፣ ጡት ላይ ወተት ሊመጣ ይችላል፣ እርግዝና ነው ብሎ መጣላት ሳይሆን ለሐኪም መናገር ነው።

በድብርቱ ጊዜ ሌላ ክሊኒክ ሄዶ አሚትሪፕቲሊን ወይ ፍሉኦክሰቲን ብቻውን እንዳይታዘዝለት ተጠንቀቁ፣ ባይፖላር ያለበትን ሰው ወደ ማኒያ ሊያስፈነጥሩት ይችላሉ። በፊት ከፍ ብሎ እንደሚያውቅ ካልነገራችሁ ሐኪሙ የሚያየው የተከፋ ሰው ብቻ ነው። ጫትም እንዲሁ፣ የሚያነቃውም እንቅልፍ የሚነሳውም እሱው ነው፣ ኪኒን ውጦ ጫት መቃም በአንድ እጅ ፍሬን በሌላው ነዳጅ ነው፣ በዚህ እኔና ወንድሜ ተጣልተንበታል፣ ገና አልጨረስንም።

ማቆምን በተመለከተ፣ የሚያቆመው ሲያመው ሳይሆን ሲሻለው ነው። ሊቲየም በድንገት ከተቋረጠ ማኒያው ብሶ ሊመለስ ይችላል፣ ሐኪም ሲያስቆም እንኳን ቢያንስ በ4 ሳምንት፣ ከተቻለ በ3 ወር ነው ቀስ እያለ የሚቀንሰው። ጠበል መሄድ ከፈለገ ይሂድ፣ እኔም አብሬው ሄጃለሁ፣ ኪኒኑን በማስታወሻ ወረቀት ጠቅልዬ ኪሱ ከትቼለት። አንድ ዶዝ ከረሳ በሚቀጥለው ላይ ደርቦ አይዋጥ። በድብርት ጊዜ ደግሞ የወር ኪኒን በሙሉ እጁ ላይ አይሁን፣ እናንተ ቆልፋችሁ ይዛችሁ የቀን የቀኑን ስጡት፣ ሊቲየም በብዛት ከተዋጠ ይገድላል።

ሊቲየም አገር ውስጥ ሁልጊዜ ስለማይገኝ ብዙ ቤተሰብ ከውጭ ያስልካል። የአሜሪካው ባብዛኛው 300 ሚሊግራም ነው፣ አውሮፓ 400ውም አለ፣ ስለዚህ "ሁለት ፍሬ" ብላችሁ አትቁጠሩ፣ ሚሊግራሙን አንብቡ፣ ቀስ ብሎ የሚለቅ ዓይነት መሆን አለመሆኑንም ለሐኪሙ አሳዩት፣ ዓይነቱ ከተቀየረ ደሙ እንደገና ይለካል። የሚልከው ሰው ካርቶኑን እንዳይጥል ንገሩት፣ ኪኒን በፌስታል ተቋጥሮ ሲመጣ ምን እንደሆነ ማንም አያውቅም። ወደ አረብ አገር የሚሄድ ካላችሁ ደግሞ ማዘዣውንና የሐኪሙን ደብዳቤ በእንግሊዝኛ አጽፋችሁ ከመድኃኒቱ ጋር በእጅ ቦርሳው ይያዝ፣ ሻንጣ ውስጥ አታስገቡት፣ ሻንጣ ቢዘገይ ሁለት ሦስት ቀን ያለ ኪኒን ይቀራል።