አንድ አገር ከቀጣናዊ ድርጅት ሲወጣ የወዳጅነት ለውጡን እንዴት መከታተል ይቻላል?

በአዲስ አበባ መሃል፣ ከሜክሲኮ አደባባይ ብዙም ከማይርቀው የአፍሪካ ኅብረት ዋና ጽሕፈት ቤት እስከ አፍሪካ አዳራሽ ባለው አካባቢ የሚሠሩ ጀማሪ ተንታኞችና ጋዜጠኞች፣ አንድ አገር ከቀጣናዊ ድርጅት መውጣቱን ባወጀ ማግስት ስለ ጉዳዩ እንዲጽፉ ይጠበቅባቸዋል። በማግስቱ የሚጻፈው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አገሩ አንዱን ኃያል ትቶ ወደ ሌላው ዞረ የሚል ነው። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ከዚያ የተሻለ ለመጻፍ ለሚፈልጉ ሲሆን፣ የሚነሣበትም ሐሳብ መውጣቱ ብዙ ጊዜ የወዳጅነት ለውጥ ውጤት እንጂ መነሻ አለመሆኑ፣ በራሱ የሚለውጠው ነገር ቢኖርም በዋነኛነት ከጎረቤቶች ጋር የሚደረገውን ድርድር መሆኑ ነው። ቀኖቹ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ቀርበዋል።

ሥራው ከመግለጫው ሳይሆን ከመመሥረቻ ውሉ ይጀምራል። የምዕራብ አፍሪካ አገራት የኢኮኖሚ ማኅበረሰብ (ኢኮዋስ) በ1993 የተሻሻለው ውል፣ በአንቀጽ 91 መውጣት የሚፈልግ አባል የአንድ ዓመት የጽሑፍ ማስታወቂያ እንዲሰጥና እስከዚያ ድረስ ግዴታዎቹን እንዲያከብር ይደነግጋል። ማሊ፣ ቡርኪና ፋሶና ኒጀር ያለ መዘግየት መውጣታቸውን ያወጁት ጃንዋሪ 28 ቀን 2024 ቢሆንም፣ መውጣታቸው በይፋ የጸናው ጃንዋሪ 29 ቀን 2025 ነው። ብሪታንያም ማስታወቂያዋን ማርች 29 ቀን 2017 ሰጥታ የወጣችው ጃንዋሪ 31 ቀን 2020፣ የሽግግር ጊዜዋ ያበቃው ደግሞ በዚያው ዓመት መጨረሻ ነበር። ስለዚህ የማስታወቂያውን፣ የመውጫውንና የሽግግሩን ማብቂያ ቀን ለይተው ይመዝግቡ፤ ዋናው ድርድር የሚካሄደው በእነዚህ መሃል ባለው ጊዜ ነው።

ቀጥሎ አንድ ገጽ ለሁለት ይክፈሉና በግራ ከድርጅቱ ጋር የሆነውን፣ በቀኝ ከውጭ አጋሮች ጋር የሆነውን በቀን ቅደም ተከተል ይጻፉ። የማሊን ጉዳይ ብንወስድ፣ በግራ በኩል የ2020 እና የ2021 መፈንቅለ መንግሥት፣ በጃንዋሪ 2022 ድንበር ያዘጋውና በማዕከላዊው ባንክ ያለውን ገንዘብ ያሳገደው ማዕቀብ፣ በጁላይ 2022 የማዕቀቡ መነሣት፣ ከዚያም የ2024ቱ የመውጫ ማስታወቂያ ይሰፍራሉ። በቀኝ በኩል ደግሞ የሩሲያው የግል ወታደራዊ ኩባንያ የዋግነር ተዋጊዎች በ2021 መጨረሻ መግባታቸው፣ የፈረንሳይ ጦር በኦገስት 2022 ጠቅልሎ መውጣቱ፣ ሦስቱ አገራት ሴፕቴምበር 16 ቀን 2023 የሳህል አገራት ጥምረትን የመሠረቱበትን የሊፕታኮ ጉርማን ቻርተር መፈረማቸው፣ በ2023 መጨረሻም የተባበሩት መንግሥታት የሰላም አስከባሪ ተልዕኮ መዘጋቱ ይመዘገባሉ። በቀኝ በኩል ያሉት ዋና ዋና ክስተቶች ሁሉ ከመውጫ ማስታወቂያው ይቀድማሉ። ማሊ ከኢኮዋስ በመውጣቷ ከፈረንሳይ ጋር ተቆራረጠች ብሎ የጻፈ ሰው፣ ይህን ገጽ አንዴ ቢመለከት ኖሮ ዓረፍተ ነገሩን ይሰርዘው ነበር።

ገጹ ሌላም ነገር ያሳያል። ቻርተሩ በአንዱ ላይ የተሰነዘረ ጥቃት በሁሉም ላይ እንደተሰነዘረ ይቆጠራል የሚል አንቀጽ ያለው ሲሆን፣ የተፈረመውም በጁላይ 2023 በኒጀር መፈንቅለ መንግሥት ከተካሄደና ኢኮዋስ በኃይል ጣልቃ ለመግባት ከዛተ ሁለት ወር ሳይሞላ ነው። እኔ እንደምመዝነው ሦስቱን አገራት በአንድ ገመድ ያሰራቸው ከሞስኮ ግብዣ ይልቅ የኢኮዋስ መቀመጫ የሆነችው የአቡጃ ዛቻ ነበር፤ ምንም እንኳ ግብዣው ቀድሞ የተዘጋጀ ቢሆን።

ወደ ራሳችን ቀጣና ስንመለስ ይኸው ዘዴ የተለየ ሥዕል ይሰጣል። ኤርትራ በ2007 ኢትዮጵያ ወደ ሶማሊያ ጦር ካዘመተች በኋላ የኢጋድ አባልነቷን አቋረጠች፤ በ2023 ተመለሰች፤ በዲሴምበር 2025 ደግሞ መውጣቷን አስታወቀች። በቀኝ በኩል ያለውን ስናይ ግን ከኢትዮጵያ ጋር የሰላም መግለጫ የፈረመችው በ2018፣ ከኢጋድ ውጭ ሳለች ነው፤ ከግብፅና ከሶማሊያ ጋር በአሥመራ የሦስትዮሽ ጉባኤ ያካሄደችው ደግሞ በኦክቶበር 2024፣ በአባልነቷ ላይ እያለች ነው። ወዳጅነቱና አባልነቱ እኩል አይራመዱም፤ አንዱን አይቶ ሌላውን መተንበይም አያዋጣም።

ቀኖቹ ከተደረደሩ በኋላ ያልተቋረጠው ምን እንደሆነ ይጠይቁ። ይህ ጥያቄ በችኮላ ሲታለፍ ይታያል፤ ሆኖም ከሁሉም በላይ የሚያስረዳው እርሱ ነው። ሦስቱ የሳህል አገራት ከኢኮዋስ ሲወጡ ስምንት አባላት ያሉትን የምዕራብ አፍሪካ የኢኮኖሚና የገንዘብ ኅብረት አልለቀቁም፤ በመሆኑም የኅብረቱን የጋራ ገንዘብ ሲኤፍኤ ፍራንክን፣ የጋራውን ማዕከላዊ ባንክና ከአይቮሪ ኮስት፣ ከሴኔጋል፣ ከቶጎና ከቤኒን ጋር ያላቸውን የገንዘብ ትስስር እንደያዙ ናቸው። ታንዛንያ በ2000 ከምሥራቅና ደቡብ አፍሪካ የጋራ ገበያ (ኮሜሳ) ስትወጣ በደቡባዊ አፍሪካ ልማት ማኅበረሰብ ውስጥ ቆይታለች። ሞሪታንያ በዚያው ዓመት ከኢኮዋስ ብትወጣም በ2017 የተባባሪነት ስምምነት ፈርማ በከፊል ተመልሳለች። ሞሮኮም በ1984 ከአፍሪካ አንድነት ድርጅት ወጥታ ከበርካታ የአፍሪካ አገራት ጋር የሁለትዮሽ ግንኙነቷን ስታጠናክር ከኖረች በኋላ፣ በጃንዋሪ 2017 እዚሁ አዲስ አበባ በተካሄደው ጉባኤ ወደ ኅብረቱ ስትገባ ደጋፊ አላጣችም።

ጎረቤቶችን አንድ በአንድ ይመልከቱ እንጂ ድርጅቱን እንደ አንድ ሰው አይቁጠሩት። የባሕር በር የሌለው አገር ከድርጅት ሲወጣ ወደብ ካለው ጎረቤት ሁሉ ጋር ለየብቻ መደራደር ይኖርበታል። ቶጎ የሎሜን ወደብ ይዛ ከሦስቱ ጋር ተግባብታ ቀጥላለች፤ ጋና በ2025 ለሳህል አገራት ጥምረት ልዩ መልእክተኛ ሾማለች፤ ሞሮኮ ወደ አትላንቲክ የሚያወጣ መንገድ አቀርባለሁ ብላለች። በአንጻሩ ኒጀር ማዕቀቡ በፌብሩዋሪ 2024 ከተነሣ በኋላም ከቤኒን ጋር የሚያገናኛትን ድንበር አልከፈተችም፤ የነዳጅ ዘይቷን ወደ ባሕር የሚያደርሰው ቧንቧ ግን የሚያልፈው በዚያችው ቤኒን ነው። ከጥምረቱ ውጭ ያለችው አልጄሪያም ኤፕሪል 2025 ላይ የማሊን ሰው አልባ አውሮፕላን መትታ በመጣሏ ምክንያት ከሦስቱም ጋር ተጋጭታለች። አዲስ ወዳጅ ከሩቅ ቢመጣም የጎረቤት ጠብ ከቦታው አይነሣም።

ስለ አዲሶቹ አጋሮች ሲጽፉ የተፈረመውን ወረቀት ዓይነት ይለዩ። የጋራ መግለጫ፣ የመግባቢያ ሰነድና በሕግ አውጪው የጸደቀ ውል አንድ አይደሉም፤ በዜና ላይ ግን ሁሉም ስምምነት ተብለው ይጠራሉ። የጦር መሣሪያ ግዢም ለብቻው የወዳጅነት ማስረጃ አይሆንም፤ የቱርክን ሰው አልባ አውሮፕላን የገዙ አገራት እርስ በርሳቸው የማይስማሙትንም ይጨምራሉ።

አዲስ አበባ ለሚሠራ ሰው አንድ ጥቅም አለ፦ ከአካባቢው ድርጅት የወጡ አገራት ከአፍሪካ ኅብረት አልወጡም፤ በመፈንቅለ መንግሥት ምክንያት ቢታገዱ እንኳ ኤምባሲዎቻቸው እዚሁ ናቸው። በሌላ በኩል ኅብረቱ ዕውቅና ከሰጣቸው ስምንት የቀጣና የኢኮኖሚ ማኅበረሰቦች መካከል የሳህል አገራት ጥምረት የለበትም። ይህ ዝርዝር ወደፊት ይለወጥ እንደሆነ፣ በየፌብሩዋሪው በሚካሄደው የመሪዎች ጉባኤ የውሳኔ ሰነዶች ውስጥ ይፈልጉ።

በመጨረሻም ጽሑፉ ከወጣ አንድ ዓመት በኋላ ሦስት ነገሮችን መልሰው ያጣሩ፦ ቀረጡን፣ የመኖሪያ ፈቃዱንና ፓስፖርቱን። ሦስቱ አገራት በማርች 2025 ከጥምረቱ ውጭ በሚገቡ ዕቃዎች ላይ 0.5 በመቶ ቀረጥ እንደሚጥሉ አስታውቀዋል፤ አዲሱን የጋራ ፓስፖርታቸውንም ከመውጫቸው ቀን ጀምሮ ሥራ ላይ እንደሚያውሉ ገልጸው ነበር። ገንዘቡን የትኛው ተቋም እንደሚሰበስበው፣ ፓስፖርቱንም የትኞቹ የድንበር ኬላዎች እንደሚቀበሉት ከጉምሩክና ከኢሚግሬሽን ማስታወቂያዎች ላይ ማንበብ ይጀምሩ።