ሲዲው ቢጠፋም ላይሰንሱ አልጠፋም፦ ዊንዶውስ እንደገና ሲያስጭኑ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በኮምፒውተር ጥገና ሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት ደጋግሜ የሰማሁት አንድ ንግግር አለ። ደንበኛው ላፕቶፑን ከቦርሳው አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥና «አብሮት የመጣው ሲዲ ቤት ስንቀይር ጠፍቷል፤ እንግዲህ ያለህን ዊንዶውስ ጫንልኝ» ይለኛል። ይህ ሰው ላፕቶፑን ሲገዛ የዊንዶውሱንም ዋጋ አብሮ ከፍሏል። አሁን ግን የከፈለበትን መብት ሳያውቀው ትቶ በክራክ (ያለ ፈቃድ ዊንዶውስን በሚያሠራ የማታለያ ፕሮግራም) የሚሠራ ዊንዶውስ እንዲጫንለት እየጠየቀኝ ነው። ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ብዙ ባለሙያዎች ጥያቄውን እንዳለ ተቀብለው መፈጸማቸው ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ መታረም ያለበት ስህተት እንግዲህ ሲዲውንና ላይሰንሱን (ዊንዶውሱን የመጠቀም ፈቃዱን) እንደ አንድ ነገር ማየት ነው። ሲዲው የመጫኛ ፋይሎቹ የተቀመጡበት ዕቃ ብቻ ነው፤ የዊንዶውስ 10ንም ሆነ የ11ን መጫኛ ማንም ሰው ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ ያለ ክፍያ ማውረድ ይችላል። ገንዘብ የተከፈለው ለላይሰንሱ ሲሆን፣ እርሱ የሚገኝበት ቦታ እንደ ኮምፒውተሩ ዘመን ይለያያል። በዊንዶውስ 7 ዘመን የተሠሩ ላፕቶፖች 25 ፊደላትና ቁጥሮች ያሉት ቁልፍ በተለጣፊ ላይ ታትሞ ከሥራቸው ወይም ከባትሪው ማስቀመጫ ውስጥ ተለጥፎባቸዋል። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2012 ዊንዶውስ 8 ከወጣ በኋላ ግን ታላላቆቹ አምራቾች ቁልፉን በማዘርቦርዱ (በኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ቺፕ ውስጥ መጻፍ ስለጀመሩ፣ በእነዚህ ላፕቶፖች ላይ ተለጣፊ ቁልፍ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። የመጫኛው ፕሮግራም ራሱ ከቺፑ አንብቦ ይወስደዋል። በ2015 ከዊንዶውስ 10 ጋር የመጣው ዲጂታል ላይሰንስ ደግሞ የኮምፒውተሩን ማንነት በማይክሮሶፍት ሰርቨር ላይ መዝግቦ ስለሚያቆይ፣ ያው ኮምፒውተር ፎርማት ተደርጎ (ዲስኩ ጸድቶ) ኢንተርኔት ሲያገኝ ቁልፍ ሳይጠየቅ አክቲቬት ይሆናል፤ ማለትም ላይሰንሱ ይረጋገጥለታል።

ነገሩ እንዲህ ቀላል ሆኖ ሳለ ሰውን ለክራክ የሚዳርገው የኤዲሽን፣ ማለትም ሆም ወይም ፕሮ የሚባለው የዊንዶውሱ ዓይነት፣ ስህተት ነው። ላፕቶፑ የመጣው በሆም ላይሰንስ ነው፤ ባለሙያው ፍላሽ ላይ ያለው ግን ፕሮ ብቻ ነው፤ «ፕሮ ይሻላል» ብሎ ይጭነዋል። የሆም ላይሰንስ ፕሮን ስለማይከፍት ዊንዶውሱ አክቲቬት ሳይሆን ይቀራል። በዚህ ጊዜ ባለሙያው ወደ ኋላ ተመልሶ ትክክለኛውን ኤዲሽን ከመጫን ይልቅ ክራክ ያወጣል። በብዛት የሚሠራበት ክራክ ኬ ኤም ኤስ የተባለውን አሠራር የሚያስመስል ነው። እውነተኛው ኬ ኤም ኤስ ብዙ ኮምፒውተር ላላቸው ድርጅቶች የተዘጋጀ ሲሆን፣ ዊንዶውስን አክቲቬት ማድረግ የሚጀምረው ቢያንስ 25 ኮምፒውተሮች ሲጠይቁት ነው፤ የሚሰጠው ፈቃድም በ180 ቀን ውስጥ መታደስ አለበት። ክራኩ በእርስዎ ላፕቶፕ ውስጥ የሐሰት ሰርቨር ያቆምና ዊንዶውሱን እያታለለ ይኖራል። ይህን ለማድረግ አስቀድሞ አንቲቫይረሱ እንዲዘጋ ይጠይቃል፤ ባለሙያውም ያለ አንዳች ማመንታት ይዘጋዋል። ማን እንደሠራው የማይታወቅ ፕሮግራም ሙሉ ሥልጣን ተሰጥቶት ሲገባ ጠባቂው ተኝቶ ነው ማለት ነው።

አንዲት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ያመጣችልኝን ላፕቶፕ እስከ ዛሬ አልረሳውም። የመመረቂያ ጽሑፏ፣ መጠይቆቿና ፎቶግራፎቿ ሁሉ ስማቸው መጨረሻ ላይ አራት የእንግሊዝኛ ፊደላት ተጨምረውባቸው አንዱም አልከፈት ብሎ ነበር። በየፎልደሩ ውስጥ የተቀመጠው አጭር ጽሑፍ ፋይሎቹ የሚመለሱት በ980 ዶላር እንደሆነ፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ከተከፈለ ግን በ490 ዶላር እንደሚሆን ይገልጻል። ይህ ጂቩ በሚባሉት ቫይረሶች ዘንድ የተለመደ ደብዳቤ ነው፤ እነዚህ ቫይረሶች ደግሞ በዋናነት የሚሰራጩት በክራክ አማካይነት ነው። ከጥቂት ቀናት በፊት ላፕቶፑ ፎርማት ተደርጎ ዊንዶውሱ በክራክ አክቲቬት እንደተደረገ ነገረችኝ። ከአማካሪዋ ጋር በኢሜይል የተለዋወጠችው አንድ ረቂቅ ተገኘ፤ የቀረው አልተመለሰም። ዲስኩን አጽድቼ ከማይክሮሶፍት ያወረድኩትን መጫኛ ስሰካበት ኤዲሽን እንኳ ሳይጠይቀኝ ሆምን መርጦ ጫነ። ከዋይፋይ ጋር ሳገናኘው የአክቲቬሽኑ ገጽ ላይ ዊንዶውሱ በዲጂታል ላይሰንስ አክቲቬት እንደሆነ የሚገልጸው መስመር ወጣ። እርሷም ስክሪኑን ካነበበች በኋላ «ጋሼ፣ ታዲያ መጀመሪያውኑ ይሄ አይጫንልኝም ነበር?» አለችኝ። ይጫንላት ነበር። አምስት ደቂቃ ወስዶ የሚያይላት ሰው አላገኘችም እንጂ።

ስለዚህ ኮምፒውተሩ የሚነሣ ከሆነ ፎርማት ከመደረጉ በፊት ሴቲንግስ ውስጥ ገብተው የአክቲቬሽኑን ገጽ ይክፈቱ፤ ኤዲሽኑንና አክቲቬት የሆነበትን መንገድ በስልክዎ ፎቶ ያንሡ። ላይሰንሱ ከማይክሮሶፍት አካውንት ጋር የተያያዘ መሆኑን ካሳየ አካውንቱ በማን ኢሜይል እንደተከፈተ ይወቁ። ይህ የመጨረሻው ነገር በእኛ አገር ልዩ ትኩረት ይፈልጋል፤ ላፕቶፑን የሸጠው ሱቅ ለመክፈት ያህል በራሱ ኢሜይል አስጀምሮት ሊሆን ይችላል፣ ወይም ከቨርጂኒያ የላከው ወንድም በራሱ አካውንት ከፍቶት ይሆናል። አዳዲሶቹ ላፕቶፖች በማይክሮሶፍት አካውንት ሲከፈቱ ዲስኩን በራሳቸው ሊያመሰጥሩት ስለሚችሉ፣ 48 አኃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር የሚቀመጠው በዚያው አካውንት ውስጥ ነው። ባዮሱ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሣው መሠረታዊ ፕሮግራም) ሲነካ ወይም ማዘርቦርዱ ሲቀየር ሰማያዊ ገጽ ወጥቶ ቁጥሩን ቢጠይቅ፣ ሻጩም ኢሜይሉን ረስቶት ቢገኝ፣ ፋይሎቹን የሚያወጣ ባለሙያ የለም። ባዮስ ከመንካትዎ በፊት ቁጥሩን ወረቀት ላይ ይጻፉ።

የድሮ ላፕቶፕ ያላችሁ ሰዎች ተለጣፊውን ዛሬውኑ ፎቶ አንሡት፤ በጭን ሙቀትና በላብ ጽሑፉ ይጠፋል። ጽሑፉ ከደበዘዘ ይህን ማወቅ ይረዳል፤ በዊንዶውስ 7 ቁልፎች ውስጥ ዜሮ፣ አንድና አምስት ቁጥሮች የሉም፤ «ኦ»፣ «አይ» እና «ኤስ» የሚባሉት ፊደላትም የሉም። ስለዚህ የሚያሳስተው በአብዛኛው «ቢ» ከ8፣ «ጂ» ከ6 ጋር ሲመሳሰል ነው። ቁልፍ ፈልጎ የሚያሳይ ፕሮግራም የሚያወጣውን ቁልፍ ግን በዚያ ዘመን ላፕቶፖች ላይ አትመኑት፤ አምራቹ ለሁሉም ላፕቶፖቹ በጋራ የተጠቀመበት ቁልፍ ስለሚሆን ከተለጣፊው ጋር አይገጥምም፣ በአዲስ ጭነት ላይም አያገለግልም። የዊንዶውስ 7 ቁልፍ ለዊንዶውስ 10 የሚሠራበት ዘመንም አልፏል፤ ማይክሮሶፍት መንገዱን በመስከረም 2023 ዘግቶታል። ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ወደ 10 ያደገ ኮምፒውተር ግን ዲጂታል ላይሰንሱ ተመዝግቦለታልና ተስፋ አይቁረጡበት።

አሁን ራሴ የሠራሁትን ስህተት ልናገር። አንድ የመለዋወጫ ነጋዴ ኮምፒውተሩን ፎርማት እንዳደርግለት የሒሳብ ሠራተኛው አመጣልኝ። ጊዜው የሐምሌ መጀመሪያ፣ የበጀት ዓመቱ ሒሳብ የሚዘጋበት ነበር። ዴስክቶፑንና ዶክዩመንትስ ፎልደሩን በጥንቃቄ ወደ ውጭ ዲስክ ገለበጥኩ፣ መጠናቸውንም አመሳከርኩ፣ ከዚያ ሲ የሚባለውን፣ ዊንዶውሱ ያለበትን የዲስክ ክፍል አጸዳሁ። በማግስቱ ሠራተኛው ደውሎ «ፒችትሪው ባዶ ነው» አለኝ፤ የሒሳብ መመዝገቢያ ፕሮግራሙን ማለቱ ነው። የፒችትሪ ዳታ በእነዚያ ሁለት ፎልደሮች ውስጥ አይቀመጥም፤ ሌላ ቦታ ካልተመረጠለት እዚያው ሲ ላይ በራሱ ፎልደር ውስጥ፣ በድርጅቱ ስም በተከፈተ ንዑስ ፎልደር ይኖራል። አልጠየቅሁም፣ አላየሁም፤ ጥፋቱ የእኔ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሥራ በኋላ እየሄድኩ ሠራተኛው ከደረሰኞቹ ላይ ሲያነብልኝ እኔ ስመዘግብ አመሸን። ከዚያ ወዲህ ፎርማት የሚደረግ ኮምፒውተር ሲመጣልኝ የመጀመሪያው ጥያቄዬ «በዚህ ኮምፒውተር ምን ሥራ ትሠሩበታላችሁ?» የሚል ነው።

ብዙ ሰው «ዕቃዬ ዲ ላይ ነው» ብሎ ያምናል፤ ነገር ግን ዴስክቶፕ ላይ የሚታየው ሁሉ፣ በቴሌግራም የወረደው ሁሉ፣ ብራውዘሩ ያስታወሳቸው የይለፍ ቃሎች ሁሉ በተለምዶ ሲ ላይ ናቸው። ጽሕፈት ቤቶች ደግሞ የሚዘነጉት ፎንቱን ነው። በድሮው ፓወር ግዕዝ ወይም ቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ደብዳቤ ዩኒኮድ (በየኮምፒውተሩ የሚነበበው የጋራ የፊደል አሠራር) ባልሆነ ፎንት የተጻፈ ከሆነ፣ ፎንቱ ተመልሶ እስኪጫን ድረስ የላቲን ፊደልና ምልክት የተደባለቀበት ትርጉም የለሽ ጽሑፍ ሆኖ ይታያል። ሰነዱ ተበላሽቷል ብለው ያጠፉት ሰዎች ገጥመውኛል። ከመጽዳቱ በፊት የፎንት ፎልደሩን ይገልብጡ። ኒያላ የተባለው የአማርኛ ፎንትም በዊንዶውስ 10 ከመደበኛው ጭነት ወጥቶ በምርጫ የሚጨመር ስለሆነ፣ ከተጫነ በኋላ ከሴቲንግስ ውስጥ የኢትዮጵያ ፊደል ተጨማሪ ፎንቶችን ማስገባት ያስፈልጋል።

ቦታ ለማስለቀቅ ብሎ የሪከቨሪ ፓርቲሽኑን (ለመመለሻ የተተወውን የዲስክ ክፍል) ማጥፋት ሌላው የተለመደ ጥፋት ነው። ሲዲ ሳይሰጡ የሸጡ አምራቾች በሲዲው ፈንታ የተዉት እርሱን ነው። ከነድራይቨሩ (የላፕቶፑን ክፍሎች ከሚያሠሩት ፕሮግራሞች ጋር) ወደ ፋብሪካው ሁኔታ የሚመልሰውም እርሱ ስለሆነ፣ ኤች ፒ ላይ ሲከፈት ኤፍ 11ን፣ ኤሰስ ላይ ኤፍ 9ን፣ ኤሰር ላይ ኦልትና ኤፍ 10ን አብሮ በመጫን ይሞክሩት።

መጫኛውን ከማይክሮሶፍት ውጪ ከሌላ ቦታ አያውርዱ። በቴሌግራም ቻናሎች «ላይት» እየተባለ የሚሰራጨው ዊንዶውስ አፕዴቱና አንቲቫይረሱ ተቆርጦ የወጣለት ሊሆን ይችላል፤ ማን እንደነካካውም አይታወቅም። ትክክለኛው ብዙ ጊጋባይት የሚወስድ ስለሆነ በሌሊት ፓኬጅ ማውረድና ቢያንስ 8 ጊጋባይት ባለው ፍላሽ ላይ ማዘጋጀት ይቻላል።

መጫን ሲጀመር ዲስኩ ዝርዝሩ ውስጥ ባይታይ ተቃጥሏል ብለው አዲስ አይግዙ፤ በ11ኛው ትውልድና ከዚያ በኋላ በመጡት ብዙ የኢንቴል ላፕቶፖች ላይ የማከማቻ ድራይቨሩን ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርዶ በፍላሽ መስጠት ብቻ ይበቃል። ከተጫነ በኋላ ዋይፋይ ካልሠራ ስልክዎን በዩኤስቢ ሰክተው ኢንተርኔቱን ያጋሩት፤ የቀረውን ድራይቨር ዊንዶውስ አፕዴት ያመጣዋል። ዲስኩ ኤም ቢ አር (የድሮው ዓይነት የዲስክ አከፋፈል) ስለሆነ አይጫንበትም የሚል መልእክት ሲመጣ ደግሞ ዲስኩን በሙሉ ለማጽዳት የሚቸኩል ሰው ዲ ላይ ያለውንም አብሮ ያጠፋል። መጀመሪያ ፍላሹ በምን ዓይነት ቡት (በድሮው ወይስ በአዲሱ የማስነሻ መንገድ) እንደተነሣ ይታይ።

ላይሰንሱ በእውነት የሚጠፋበት ጊዜም አለ። ከፋብሪካ አብሮ የመጣ ላይሰንስ የተሳሰረው ከማዘርቦርዱ ጋር ስለሆነ፣ ዲስክ ወይም ራም ቢቀየር ምንም አይሆንም፤ ማዘርቦርድ ከተቀየረ ግን ላይሰንሱ አብሮ ሊሄድ እንደሚችል ጠጋኙ አስቀድሞ ሊነግርዎ ይገባል። ለብቻው የተገዛ ላይሰንስ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ይዛወራል። በጥቂት ብር የሚሸጡ ቁልፎች በአብዛኛው ከድርጅቶች የወጡ ስለሆኑ ማይክሮሶፍት ሲያግዳቸው ገንዘብዎ አብሮ ይቀራል።

ከዱባይ ወይም ከሌላ የገልፍ አገር የመጣ ያገለገለ ላፕቶፕ ሲገዙ ኢንተርኔት አገናኝተው፣ ፎርማት አስደርገው፣ በፊትዎ እንዲነሣ ያድርጉ። የአንድ ኩባንያ ስም ወጥቶ የሥራ ኢሜይል የሚጠይቅ ከሆነ ላፕቶፑ ከቀድሞ ባለቤቱ መዝገብ አልተሰረዘም ማለት ነው። ይህ ምዝገባ በማይክሮሶፍት በኩል ያለ ስለሆነ አሥር ጊዜ ፎርማት ቢደረግ ተመልሶ ይመጣል፤ ሊያነሣው የሚችለው ኩባንያው ነው። ባይገዙት ይሻላል።

ኦፊስ የራሱ ላይሰንስ ስላለው ከዊንዶውሱ ጋር አብሮ አይመለስም። ከላፕቶፑ ጋር ተገዝቶ የመጣ የቅርብ ዘመን ኦፊስ መጀመሪያ በተከፈተበት አካውንት ላይ ስለሚመዘገብ፣ ዎርድ ወይም ኤክሴል ገና ሳይጠፋ ተከፍቶ አካውንት በሚለው ገጽ ላይ የተጻፈው ኢሜይል ይታይ፤ ፎቶውም ከዊንዶውሱ ፎቶ ጋር በስልክዎ ውስጥ ይቀመጥ።