ካርትሪጅ ሲያጥረን የአክታ ናሙናውን እንዴት እንዳዳረስነው

ጅማ በምሠራበት ላቦራቶሪ የቲቢ መመርመሪያ ካርትሪጅ (ናሙናው ተጨምሮበት ማሽን ውስጥ የሚገባ፣ አንዴ ብቻ የሚያገለግል ዕቃ) አጠረን። የአሥር ሰው አክታ እየቀላቀልን በአንድ ካርትሪጅ መመርመር ተጀመረ፤ ድብልቁ ኔጌቲቭ ከሆነ አሥሩም በአንዱ ያልቃሉ። ግን ድብልቁ ቶሎ ቶሎ ፖዘቲቭ ይወጣል፤ ያኔ አሥሩንም ለየብቻ መድገም ግድ ነው።

ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ከ100 ታካሚ 10ሩ ፖዘቲቭ ከሆኑ፣ በአሥር መቀላቀል ድጋሚውን ጨምሮ 75 ያህል ካርትሪጅ ይፈጃል። በአራት ሲሆን 59 ያህል። ስሌቱ ኢኮኖሚስቱ ሮበርት ዶርፍማን በ1943 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ ምልምል ወታደሮች የቂጥኝ ምርመራ ያወጣው ነው፤ በሽታው በበዛ ቁጥር ቡድኑ ማነስ አለበት።

ወደ አራት ዝቅ አደረግነው። ይበልጥ የጠቀመን ግን ከአንድ ቤት የመጡትን አብሮ መቀላቀሉ ነው። ፖዘቲቮቹ አንድ ድብልቅ ውስጥ ሲሰባሰቡ ሌሎቹ ድብልቆች ነጻ ይወጣሉ። ደም የቀላቀለ አክታ ያለው ሰው ድብልቁን ፖዘቲቭ እንዳያደርገው ገና ከመጀመሪያው ለብቻው ይመረመራል።

ከእያንዳንዱ ናሙና የተረፈውን ስም ጽፈን ፍሪጅ ውስጥ እናስቀምጣለን። ሌሊት ተነስታ ከዴዶ የመጣችን እናት «ሌላ አክታ አምጪ» ብሎ መመለስ አንጀት ይበላል። ሲቀላቀል ባክቴሪያው ስለሚሳሳ፣ ምልክቱ እያለ ኔጌቲቭ የወጣለትን ሰው ለብቻው እንደግምለታለን።