ልጃችሁ ዐይኑን የሚያርገበግብ ከሆነ፦ ከጅማ መጥታችሁ አሜሪካ ለገባችሁ

አዲስ ስትገቡ የሚነገራችሁ ብዙ ነው። ሶሻል ሴኩሪቲ፣ የባንክ ሂሳብ፣ ክትባት፣ የትምህርት ቤት ምዝገባ። እኔ የምነግራችሁ ግን ዘመድም ሆነ ኬዝ ወርከር ብዙም ስለማያነሳው ነገር ነው።

ልጄ ሰባት ዓመቱ ነበር። ገና ጅማ ሳለን፣ ፈረንጅ አራዳ እናቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ተሰብስቧል። እናቴ በርጩማዋ ላይ ሆና ትቆላለች። ልጄ ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ ዐይኑን ጭፍን ግልጥ፣ ጭፍን ግልጥ ያደርጋል። ከዚያ ትከሻው ወደ ላይ ብድግ ይላል። አንዲት ትልቅ ሴት “የሰው ዐይን ነው” አሉ። ሌላዋ “ቴሌቪዥን አብዝቶ ነው” አሉ። እኔም “ተው!” ብዬ ጉልበቱን መታ አደረግኩት። ለትንሽ ጊዜ ተወ። ወዲያው ባሰበት። ያቺ “ተው” እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች።

ይሄ ነገር ቲክ ይባላል። ሳይታሰብ የሚመጣና የሚደጋገም እንቅስቃሴ ወይም ድምፅ ነው። ዐይን ማርገብገብ፣ አፍንጫ መሸብሸብ፣ ራስ መወዝወዝ፣ ጉሮሮ መጥረግ። ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 7 ዓመት አካባቢ ይጀምራል። ከ10 እስከ 12 ዓመት ላይ ይበረታል፤ ከዚያ በኋላ በብዙዎቹ ላይ እየቀለለ ይሄዳል። ወንዶች ላይ ይበዛል። የእንቅስቃሴም የድምፅም ቲክ ኖሮ ከዓመት በላይ ከቆየ ቱሬት ሲንድረም የሚባለው ነው። በዘር የመምጣት ዕድል አለው። ልጁ ባለጌ ስለሆነ ወይም እናት አባት ስላላሳደጉት የሚመጣ አይደለም።

ቲክ ይመጣል፣ ይሄዳል። ሳምንታት ጠፍቶ ይመለሳል፤ አንዳንዴም ከዐይን ወጥቶ አንገት ላይ ይገባል። ስለዚህ በጠፋበት ሳምንት የሞከርነው ነገር ሁሉ ያዳነው ይመስለናል። ጠበሉንም ዱዓውንም አትተዉ፤ እምነታችሁ ነው። ሕክምናውንም ግን ጎን ለጎን ያዙ።

የሕክምናው ስም ሲቢት (CBIT) ነው። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ በዚህ ስም ጠይቁ። የባህሪ ሕክምና ነው፤ ክኒንም መርፌም የለውም። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከ9 እስከ 17 ዓመት የሆኑ 126 ልጆችን ለሁለት ከፍሎ አየ። አንደኛው ቡድን በ10 ሳምንት ውስጥ 8 ጊዜ ሲቢት ተሰጠው። ከእነዚህ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በግልጽ ተሻላቸው። ምክርና ድጋፍ ብቻ ካገኙት የተሻላቸው ከአምስት አንድ እንኳ አልሞሉም። በ2019 ደግሞ የአሜሪካ የነርቭ ሐኪሞች አካዳሚ ከመድኃኒት በፊት ሲቢት እንዲቀድም በመመሪያው መከረ።

እንዴት እንደሚሠራ በልጄ ላሳያችሁ። ቲክ ከመምጣቱ በፊት የሚሰማ ነገር አለ። “እማዬ፣ ትከሻዬ ውስጥ ማስነጠስ የፈለገ ነገር አለ” ይለኝ ነበር። ቴራፒስቷ መጀመሪያ ያስተማረችው ያን ስሜት ማወቅ ነው። ሲመጣበት ጣቱን ያነሳል። ቀጥሎ ቲኩን የሚቃረን እንቅስቃሴ ተማረ፤ ክርኖቹን ጎኑ ላይ ጠጋ አድርጎ ትከሻውን በዝግታ ወደ ታች ይስባል። ስሜቱ እስኪያልፍለት ወይም ለአንድ ደቂቃ ያህል እንደዚያው ይቆያል። ጉሮሮውን ለሚጠርግ ልጅ ደግሞ አፍ ገጥሞ በአፍንጫ በቀስታ መተንፈስ ነው። አጠገቡ የተቀመጠ ልጅ እንኳ አያውቅበትም። የእኔ “ተው” ባዶ ትእዛዝ ነበር። ይሄኛው ግን ምን እንደሚያደርግ ይነግረዋል።

ግማሹ ሥራ ቤት ነው፤ እኔን በጣም የለወጠኝም እሱ ነው። ልጄ የሚብስበት የሒሳብ የቤት ሥራ ላይ ነበር። አዝኜለት “በቃ ተወው፣ እረፍ” እለዋለሁ። ለካ ቲኩ በመጣ ቁጥር ከሥራው ማስነሳት ቲኩን ያጠነክረዋል። አሁን ቲክ መጣም አልመጣም በየ15 ደቂቃው ያርፋል፣ ከዚያ ይመለሳል። ቲኩን ዐይተን እንዳላየ እናልፋለን። ልምምዱን ሲሠራ ግን “ጎበዝ!” እንለዋለን።

ወደ ጉዳዩ ስትገቡ የምትጀምሩት ከልጆች ሐኪም ነው። ቪዲዮ ቀርጻችሁ ሂዱ፤ ሐኪም ፊት ቲኩ ድራሹ ይጠፋል። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ታይቶ ከሆነ ወረቀቱን ያዙ። አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ለእናንተ በነጻ ነው። ልጁን ራሱን ወይም ታላቁን አታስተርጉሙ፤ ስለ ራሱ ችግር በራሱ አፍ ማስነገር ይከብደዋል። ቴራፒስቱን “ሲቢት ሠልጥነዋል?” በሉት፤ ሁሉም የሥነ ልቦና ባለሙያ አልሠለጠነም። አንዳንድ ኦኪዩፔሽናል ቴራፒስቶችም (የዕለት ተዕለት ሥራ የሚያለማምዱ ባለሙያዎች) ይሰጡታል። ቅርብ ከሌለ በቪዲዮ ይሆናል። ትኩረት ማጣትና ጭንቀትም አብረው ስለሚመጡ እነሱንም አንሱ። ቲኩ የሚያሳምም ወይም የሚጎዳ ከሆነ መድኃኒትም አለ። ልጁ ግን ራሱን የሚስት ከሆነ፣ ወይም ስትጠሩት የማይሰማ ከሆነ ቲክ ነው ብላችሁ አትቀመጡ፤ ቶሎ ሐኪም ይየው።

ትምህርት ቤት ላይ እኛ ተጎድተናል። አንዲት አስተማሪ ሆን ብሎ የሚረብሽ መስሏት በተደጋጋሚ ከክፍል አስወጣችው። ከሐኪሙ ደብዳቤ ወስጄ 504 ፕላን የሚባለውን፣ ትምህርት ቤቱ እንዲህ ያለ ችግር ላለበት ልጅ ነገሮችን የሚያመቻችበትን ዕቅድ፣ በጽሑፍ ጠየቅኩ። አሁን ሲያስፈልገው ሳያስፈቅድ ይወጣል፣ ፈተና ላይም ተጨማሪ ሰዓት አለው።

ባለፈው ክረምት ጅማ ወሰድኩት። ከመሄዳችን በፊት ለእናቴ በስልክ “ተው አትበይው፣ ዐይኑንም አትመልከቺ” ብዬ ነግሬያት ነበር። አንድ ከሰዓት ያው ቡና ተፈልቶ፣ አንድ ጎረቤት ገና “ምን ሆኖ ነው—” ሲሉ እናቴ ቀድማ “ሥራውን እየሠራ ነው፣ ተዉት” አለቻቸው። እሱም ክርኑን ጎኑ ላይ አድርጎ ቆሎውን ይበላ ነበር።