«ይህን ገጽ ለማየት አልተፈቀደልዎትም»፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው

አንድ ሠራተኛ ደውሎ «ኧረ ገጹ እምቢ አለኝ» ሲል ብዙ የአይቲ ሰው ምን እንደሚያደርግ የታወቀ ነው። አድሚን ያደርገዋል። ገጹ ይከፈታል፤ ስልኩም ዝም ይላል። ያው የመጋዘን ሠራተኛ ከዚያ ወዲህ የደመወዝ ገጽም እንደሚከፈትለት ግን ማንም ልብ አይልም።

እዚህ የምናወራው መሥሪያ ቤቶች ለራሳቸው ስላሠሯቸው ሲስተሞች ነው። ለምሳሌ እንዲመቸን አንድ የሰሜን ሸዋ የገበሬዎች ዩኒየን እናስብ። ዋና ቢሮው ደብረ ብርሃን ነው፤ ቅርንጫፎቹ እነዋሪ፣ አረርቲና መሐል ሜዳ ናቸው። የማዳበሪያ ስርጭትና የእህል ግዢ የሚመዘገብበት የራሱ ዌብ ሲስተም አለው። ዩኒየኑ የሐሳብ ነው። ችግሮቹ ግን እውነተኛ ናቸው።

ከሁሉ በፊት፦ እምቢ ያለው ማነው?

ከብሮውዘሩ የተነሳ ጥያቄ ዳታቤዝ እስኪደርስ በብዙ እጅ ያልፋል። ኔትወርኩ ሊመልሰው ይችላል። ዌብ ሰርቨሩ ሊመልሰው ይችላል። የሎግ ኢን ክፍሉም፣ የሮል (ለዩዘሩ በሲስተሙ ውስጥ የተሰጠው የሥራ ድርሻ) ፍተሻውም እንዲሁ። የሁሉም ቃል ለሠራተኛው አንድ ነው፤ «እምቢ አለኝ» ብቻ። የእኛ ሥራ የትኛው እንደከለከለ ማወቅ ነው። እሱ ከታወቀ ቀሪው ቀላል ነው።

ኤፍ 12ን ተጫኑ። ኔትወርክ የሚለውን ክፈቱና ገጹን ሪፍሬሽ አድርጉት። ከዚያ ቁጥሩን አንብቡ። 401 ከሆነ ሲስተሙ ማን እንደሆናችሁ አላወቀም። 403 ከሆነ ጥያቄው ገብቶታል፤ አልፈቅድም ብሏል። 302 ከሆነ ወደ ሌላ ገጽ፣ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሎግ ኢን፣ እየመለሳችሁ ነው። 404 አሳሳች ነው። አንዳንድ ዴቨሎፐር የገጹ መኖር እንዳይታወቅ ብሎ ሆን ብሎ በ403 ፈንታ 404 ይመልሳል። አድሚኑ የሚከፍተው ገጽ ለሌላው «አልተገኘም» ካለ የተሰበረ ሊንክ ፍለጋ አትድከሙ።

የገጹ መልክም ይናገራል። ነጭ ገጽ ላይ 403 ብቻ ተጽፎ ከሥሩ የኤንጂንኤክስ (የዌብ ሰርቨር ሶፍትዌር ነው) ስም ካለ፣ የከለከለው ብዙ ጊዜ ዌብ ሰርቨሩ ነው። የዩኒየኑ አርማና ሜኑ ከላይ እየታየ ከሆነ ግን የከለከለው ሲስተሙ ራሱ ነው። ከተጠራጠራችሁ የሁለቱንም ሎግ (የክንውን መዝገብ) እዩ። በዌብ ሰርቨሩ ሎግ ላይ ጥያቄው ኖሮ በሲስተሙ ሎግ ላይ ከሌለ፣ ጥያቄው ኮዱ ዘንድ አልደረሰም። ሮል ብትቀያይሩ ለውጥ የለውም።

ሌላው ሙከራ ሰው ማቀያየር ነው። የተከለከለው ሠራተኛ በባልደረባው ኮምፒውተር ላይ በራሱ ዩዘር ይግባ። እዚያም እምቢ ካለው ችግሩ ዩዘሩ ላይ ነው። እዚያ ከሠራለት ችግሩ ኮምፒውተሩ፣ ብሮውዘሩ ወይም መስመሩ ላይ ነው። ቀጥሎ አንድ ዓይነት ሮል ያለው ሌላ ሠራተኛ ይሞክር። እሱም ከተከለከለ ጉዳዩ የሮሉ እንጂ የሰውየው አይደለም። ለዚህ ሁሉ የማንም ፓስወርድ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ባለቤቱ ራሱ ይግባ።

አድሚን ይከፍተዋል፣ ሌላው አይከፍትም

አዲስ በተሠራ ገጽ ላይ ከሁሉ በላይ የሚያጋጥመው ይህ ነው። መንስኤው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዴቨሎፐሩ ገጹን የሞከረው በራሱ የአድሚን ዩዘር መሆኑ ነው።

ሲስተሙ በጃንጎ (የፓይተን የዌብ መሥሪያ ማዕቀፍ) የተሠራ ነው እንበል። ጃንጎ ላይ ሱፐርዩዘር (ሙሉ አድሚን) የሆነ ሰው ስለየትኛውም ፈቃድ ሲጠየቅለት መልሱ «አዎ» ነው። ፈቃዱ በዳታቤዙ ውስጥ ባይኖር እንኳ «አዎ» ነው። ጃንጎ ለእያንዳንዱ ሞዴል (የዳታቤዝ ሠንጠረዥ በኮድ ሲገለጽ) የመጨመር፣ የመቀየር፣ የመሰረዝና የማየት ፈቃድ ማይግሬት ሲደረግ፣ ማለትም ለውጡ ወደ ዳታቤዙ ሲገባ፣ ራሱ ይፈጥራል። «የወሩ የማዳበሪያ ስርጭት» የሚል በእጅ የተሠራ የሪፖርት ገጽ ግን የራሱ ሞዴል የለውም። ስለዚህ ዴቨሎፐሩ ካልጻፈው ፈቃዱ የለም፤ ከሌለ ደግሞ ለማንም ሊሰጥ አይችልም።

አንድ ሌላ ወጥመድ አለ። ኮዱ ውስጥ ፈቃዱ ሲጠራ መጀመሪያ የአፑ ስም፣ ቀጥሎ ነጥብ፣ ከዚያ የፈቃዱ ስም ይመጣል። የአፑ ስም ከተረሳ ጃንጎ ስህተት ብሎ አይጮህም። ዝም ብሎ «ፈቃድ የለውም» ይላል። ለአድሚኑ ግን አሁንም ይሠራል። ዴቨሎፐሩ «እኔ ጋ ይሠራል» የሚለው ለዚህ ነው፤ አልዋሸም።

መፍትሄው፦ ፈቃዱን ሞዴል ላይ ጻፉት፣ ማይግሬሽን አዘጋጅታችሁ አስኪዱ፣ ከዚያ ለግሩፕ ስጡት። ለሰው በስሙ አትስጡ። የአረርቲው መጋዘን ሠራተኛ ነገ ወደ እነዋሪ ሊዛወር ይችላል። ያን ጊዜ ከግሩፕ ማውጣት ቀላል ነው፤ በተናጠል የተሰጡትን ፈቃዶች እያስታወሱ መንጠቅ ግን ማንም አያደርገውም። ለሙከራም ለእያንዳንዱ ሮል አንድ የሙከራ ዩዘር ይኑራችሁ።

ሎግ ኢን ደጋግሞ ይመጣል

ሠራተኛዋ ዩዘርና ፓስወርድ ታስገባለች። ትገባለች። የሪፖርት ገጹን ስትነካ ሎግ ኢን እንደገና ይመጣል። ፓስወርዷ የተበላሸ መስሏት እንዲቀየርላት ትጠይቃለች፤ ይቀየርላታል፤ ያው ነው።

ፓስወርዱ ምንም አልሆነም። ጃንጎ ላይ ፈቃድ የሚፈትሸው ዴኮሬተር (ከገጹ ኮድ በላይ የሚጻፍ ፍተሻ) በነባሪው አሠራር ፈቃድ የሌለውን ሰው 403 አያሳየውም፤ ወደ ሎግ ኢን ገጽ ይሸኘዋል፤ ሰውየው ገብቶ ያለ ቢሆንም። ይባስ ብሎ የሎግ ኢን ገጹ የገባ ሰው ሲያይ ወደ መጣበት እንዲመልስ ከተደረገ ሁለቱ ገጾች ሰውየውን እየተቀባበሉት ይዞራሉ። ብሮውዘሩ በመጨረሻ «ሪዳይሬክቱ በዛ» ብሎ ይቆማል። ዴኮሬተሩ ኤክሴፕሽን (የስህተት ምልክት) እንዲያነሳ አድርጉት። ያን ጊዜ 403 ይመጣል፤ ሠራተኛዋም የጎደላት ፈቃድ እንጂ ፓስወርድ እንዳልሆነ ታውቃለች።

ፈቃዱ ተሰጥቷል፣ አሁንም እምቢ

መጀመሪያ ወጥቶ ይግባ። ቀልድ አይደለም። ብዙ ሲስተም ሮልን ሎግ ኢን ላይ አንድ ጊዜ አንብቦ ሴሽኑ (ሰውየው ከገባ በኋላ ያለው ቆይታ መረጃ) ወይም ቶከኑ (ሲገባ የሚሰጠው ዲጂታል መለያ) ውስጥ ያስቀምጠዋል። ጄደብልዩቲ በሚባለው የቶከን ዓይነት ውስጥ የተጻፈ ሮል ቶከኑ እስኪያልቅ አይለወጥም፤ ዳታቤዙን የፈለጋችሁትን ያህል ብታስተካክሉት። ይህ በተቃራኒውም ይሠራል። ከሥራ የተሰናበተ ሰው ሮሉ ቢነሳም በያዘው ቶከን ሊገባ ይችላል። ስለዚህ የቶከኑን ዕድሜ አሳጥሩት።

ላራቬል (የፒኤችፒ የዌብ መሥሪያ ማዕቀፍ) ላይ ስፓቲ የተባለውን ድርጅት የፈቃድ ፓኬጅ የምትጠቀሙ ከሆነ ፈቃዶቹ በነባሪው ለ24 ሰዓት ካሽ ይደረጋሉ፤ ማለትም ለጊዜው ተቀድተው ይቀመጣሉ። በፓኬጁ በኩል ስትቀይሩ ካሹን ራሱ ያጸዳዋል። በቀጥታ ዳታቤዝ ገብታችሁ ረድፉን ከነካችሁት ግን አያውቅም። የፓኬጁን የካሽ ማጽጃ ትእዛዝ አስኪዱ።

ሮሉ አለው፣ ሲስተሙ ግን አያየውም

ይህ የእኛው ጉድ ነው፤ በውጭ አገር መመሪያ አታገኙትም። የሮሉ ስም በአማርኛ ተጽፏል። ደብረ ብርሃን ያለው አድሚን «ሒሳብ ሠራተኛ» ብሎ መዘገበ። ዴቨሎፐሩ ኮዱ ውስጥ «ሂሳብ ሰራተኛ» ብሎ ጻፈ። ለእኛ አንድ ነው። ለኮምፒውተሩ ሐመሩ ሐ እና ሃሌታው ሀ የተለያየ የዩኒኮድ (የፊደላት ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር መለያ) ቁጥር አላቸው። ንጉሡ ሠ እና እሳቱ ሰም፣ ጸሎቱ ጸ እና ፀሐዩ ፀም፣ አልፋው አ እና ዓይኑ ዐም እንዲሁ። ስክሪኑ ላይ አፍጥጣችሁ ብታዩትም ዓይናችሁ ያልፈዋል። መጨረሻ ላይ የቀረ አንድ ባዶ ቦታም ይህንኑ ያደርጋል።

የተለመደው የዩኒኮድ ኖርማላይዜሽን (ጽሑፍን ወደ አንድ ወጥ መልክ ማምጣት) እነዚህን ፊደላት አንድ አያደርጋቸውም፤ በእሱ አትተማመኑ። ትክክለኛው መፍትሄ ሮሉን በአማርኛ ስሙ አለመለየት ነው። ኮዱ የሚያነጻጽረው አጭር የላቲን መለያ ወይም ቁጥር ይሁን። የአማርኛው ስም ለዓይን ብቻ ይቅረብ፤ ያን ጊዜ ማንም እንደፈለገ ይጻፈው። ሲስተሙ ከረጀና መቀየር ካልተቻለ ከማነጻጸሩ በፊት ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ የሚመልስ ትንሽ ሠንጠረዥ ጻፉ።

ደብረ ብርሃን ይሠራል፣ መሐል ሜዳ አይሠራም

ያው ዩዘር፣ ያው ሮል፣ ቦታው ብቻ የተለየ ከሆነ የአይፒ (የኔትወርክ አድራሻ) ገደብ ፈልጉ። ገጹ ከዋናው ቢሮ አይፒ ብቻ እንዲከፈት ተደርጎ ሊሆን ይችላል። ቅርንጫፉ በሞባይል ዳታ የሚሠራ ከሆነ አይፒው ስለሚቀያየር ዝርዝር ውስጥ ማስገባቱ ዋጋ የለውም። ለቅርንጫፎች ቪፒኤን (ከዋናው ቢሮ ጋር የሚያገናኝ የተጠበቀ መስመር) ማዘጋጀት ይሻላል።

ከፊት አዲስ ፕሮክሲ (ጥያቄ ተቀብሎ ወደ ሲስተሙ የሚያስተላልፍ ሰርቨር) ከተተከለ በኋላ የተነሳ ችግር ከሆነ ደግሞ፣ ሲስተሙ የሚያየው የሁሉንም ሰው አይፒ ሳይሆን የፕሮክሲውን ነው። ወይ ሁሉም ይከለከላል፣ ወይ ሁሉም ይገባል። ሁለተኛው ስልክ ስለማያስደውል ለወራት ሳይታወቅ ይቆያል። ፕሮክሲው እውነተኛውን አይፒ እንዲያስተላልፍ፣ ሲስተሙም ይህን መረጃ ከዚያ ፕሮክሲ ሲመጣ ብቻ እንዲያምን አድርጉ።

ገጹ ይከፈታል፣ ፎቶውና ፋይሉ 403

ይህ የሊኑክስ ፈቃድ ነው። ለፎልደር 755፣ ለፋይል 644 (ባለቤቱ ይጽፋል፣ ሌላው ያነባል) አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ኡቡንቱ ከ21.04 ጀምሮ የዩዘሩን የሆም ፎልደር 750 (ለሌሎች ዝግ) አድርጎ ስለሚፈጥር፣ ፕሮጀክቱ እዚያ ውስጥ ካለ ኤንጂንኤክስ ፋይሎቹ ዘንድ መድረስ አይችልም። ፋይሉ ራሱ ትክክል ነው፤ የከለከለው ከላይ ያለው ፎልደር ነው። ፕሮጀክቱን ከሆም አውጥታችሁ ወደ ቫር ሥር ወዳለው የዌብ ፎልደር ውሰዱት። 777 አትስጡ። ሰርቨሩ ላይ ያለ ማንኛውም ዩዘር ፋይሉን እንዲጽፍበት መፍቀድ ነው።

ሜኑ ላይ የለም፣ ሊንኩ ግን ይከፈታል

ስለዚህ ማንም አይደውልላችሁም፤ ራሳችሁ ፈትሹት። ሜኑውን መደበቅ ገጹን መዝጋት አይደለም። በሙከራ ዩዘር ገብታችሁ የደመወዙን ገጽ አድራሻ በቀጥታ ጻፉት። የእነዋሪን ደረሰኝ ከፍታችሁም ሊንኩ ላይ ያለውን ቁጥር ቀይሩ፤ የአረርቲው ከመጣ ሲስተሙ ሮልን እንጂ የመዝገቡን ባለቤት አይፈትሽም ማለት ነው። የዌብ ደህንነት ድርጅቱ ኦዋስፕ በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው የ10 ዋና ዋና የዌብ ደህንነት ስጋቶች ዝርዝር 1ኛ ያደረገው ይህን የተበላሸ የፈቃድ ቁጥጥር ነው፤ በ2017ቱ 5ኛ ነበር። ፍተሻው በሰርቨሩ በኩል፣ በእያንዳንዱ ጥያቄ ላይ፣ ለእያንዳንዱ መዝገብ ይሁን።

ስታስቀምጡ 419፣ ወይም የስልክ ኮዱ አልሰራም

419 የላራቬል ነው። ፎርሙ ተከፍቶ ቆይቶ ሴሽኑ አልቋል፤ ነባሪው ዕድሜ 120 ደቂቃ ነው። ምሳ ወጥቶ የተመለሰ ሠራተኛ ይገጥመዋል። ሮሉን አትንኩ። የጻፈውን ኮፒ አድርጎ ገጹን ሪፍሬሽ ያድርግ።

በስልክ አፕ የሚመጣ የማረጋገጫ ኮድ ትክክል ሆኖ ሳለ የማይቀበል ከሆነ የስልኩን ሰዓት እዩ። ኮዱ የሚሰላው ከሰዓቱ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በየ30 ሰከንዱ ይለወጣል። ጠዋት 2 ሰዓትን 2፡00 ብሎ በእጁ የሞላ ሰው ስልክ በ6 ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል። ሰዓቱን አውቶማቲክ፣ ቀጠናውን አዲስ አበባ አድርጉለት። የአበሻ ሰዓት ማየት ከፈለገ ለብቻው የሚያሳይ አፕ ጫኑለት።